ሻንጣ ውስጥ ምን ይግባ? በ100 ዶላር የሸክላ ማጫወቻ ማሻሻል

ናቲ፦ እሺ ቀጠልን። ጥያቄው የመጣው አዲስ አበባ ካለ አድማጫችን ነው። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤልፒ 60 ኤክስ የሚባል የሸክላ ማጫወቻ አለው፣ የአክስቱ ልጅ ከአሜሪካ ልትመጣ ነው፣ ሻንጣዋ ላይ ትንሽ ቦታ አላት፣ እጁ ላይ ያለው ደግሞ 100 ዶላር። ሌላ ማጫወቻ ላስመጣ ወይስ ያለኝን ላሻሽል ነው የሚለው።

ቤዛ፦ በ100 ዶላር ሌላ ማጫወቻ? ወይ የያዘውን የሚመስል ነው የሚመጣለት፣ ወይ ደሞ ያቺ ስፒከሯ ውስጧ ያለ፣ ከለሯ የሚያምር ቦርሳ መሳይ ነገር።

ናቲ፦ እሷንማ እንዳያስባት! ስፒከሩና መርፌው አንድ ሳጥን ውስጥ ሆነው፣ ቤዙ ሲመታ መርፌው አብሮ ይንቀጠቀጣል።

ቤዛ፦ ያገለገለ ላግኝ ካለም ይጠንቀቅ። አሜሪካ አሮጌ ማጫወቻ በርካሽ ይገኛል፣ እውነት ነው፣ ግን የድሮዎቹ ባለ ቀበቶ ማጫወቻዎች፣ ሞተሩ ሸክላውን በላስቲክ ቀበቶ የሚያዞርባቸው፣ ብዙዎቹ ሞተራቸው የሚዞረው በመብራቱ ኸርዝ ልክ ነው፣ መብራቱ በሰከንድ በሚመላለሰው ቁጥር ማለት ነው። እዛ 60 ኸርዝ ነው፣ እኛ ጋ 50።

ናቲ፦ ሰው ትራንስፎርመር እገዛለሁ ይላላ።

ቤዛ፦ ይግዛ! ትራንስፎርመሩ 220ውን ወደ 120 ያወርድለታል እንጂ ኸርዙን አይነካውም። ስለዚህ በደቂቃ 33 ከሲሶ መዞር የነበረበት ሸክላ 28 ገደማ ይሆናል፣ ዘፋኙ እንቅልፍ እየወሰደው የሚዘፍን ነው የሚመስለው። ለ50 ኸርዝ የተሰራ ፑሊ፣ ማለቴ ቀበቶው የሚዞርበት መዘውር፣ የሚገኝላቸው አሉ፣ ግን ያንን ፍለጋ ውስጥ ማን ይገባል? የሱ ኤልፒ 60 ግን በአዳፕተር የሚሰራ፣ ፍጥነቱ በመብራቱ ኸርዝ የማይወሰን ባለ ዲሲ ሞተር ስለሆነ ይሄ ጣጣ የለበትም። ይዞት ይቀመጥ።

ናቲ፦ በቃ እኔ የምለው መርፌ ነው። ማጫወቻው ላይ ካርትሪጁ፣ መርፌዋ የምትሰካበት ክፍል፣ ከክንዱ ጋር የተሰራ ስለሆነ አይቀየርም፣ መርፌዋ ግን ወደ ታች ሳብ ስታደርጋት ትወጣለች። አብሮት የሚመጣው ጫፉ ድቡልቡል የሆነው፣ ኮኒካል የሚሉት ነው። ለሱ የሚሆን ኤሊፕቲካል፣ ጫፉ ሞላላ የሆነ መርፌ ሌሎች ድርጅቶች ይሰራሉ፣ ያንን ይግዛ።

ቤዛ፦ ልዩነቱ ይሰማል?

ናቲ፦ መጀመሪያው ዘፈን ላይ ብዙም ላይሰማው ይችላል። የመጨረሻውን ዘፈን ያዳምጥ፣ ወደ መሃል የተጠጋውን። ትልቁ ሸክላ ጠርዙ ላይ በሰከንድ 50 ሴንቲሜትር ያህል መስመር በመርፌው ስር ያልፋል፣ መሃሉ ጋ ሲደርስ ግን 21 ገደማ ነው፣ ያው ድምፅ በጣም ተጨናንቆ ነው የተጻፈው። ድቡልቡሏ ጫፍ እዛ ጥቃቅኑ ውስጥ አትገባም፣ ለዛ ነው ዘፋኟ "ሰ" ባለች ቁጥር ጽጽጽ የሚለው።

ቤዛ፦ ኤልፒ 120፣ የዚሁ ድርጅት ከፍ ያለውን ማጫወቻ፣ ያላቸው ይሄን ሲሰሙ ይቀኑ ይሆን?

ናቲ፦ ኧረ እነሱማ ተመችቷቸዋል! ኤልፒ 120 ኤክሱ ቪኤም 95 ኢ የሚባል ካርትሪጅ ነው ያለበት፣ ካርትሪጁን ሳይነኩ መርፌዋን ብቻ አውጥተው እስከ ማይክሮላይን፣ ጫፉ በጣም ቀጭን ሆኖ እስከተቀረጸው ውዱ መርፌ ድረስ መሰካት ይችላሉ። ኦዲዮ ቴክኒካ ራሱ ኤሊፕቲካል 300 ሰዓት፣ ማይክሮላይን 1000 ሰዓት ይላል ዕድሜውን፣ ስለዚህ ዋጋው ሲያስደነግጥ ይሄንንም አስቡት። እነሱ ግን ከ20 ዶላር በታች የሆነች የመርፌ ሚዛን ይጨምሩበት፣ መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፍበት ክብደት 2 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። ሸክላው እንዳይጎዳ ብሎ የሚያቀለው ሰው አለ፣ ሲቀል እኮ መርፌው መስመሩ ውስጥ እየዘለለ ነው የሚፍቀው። የኤልፒ 60ው ክብደቱ ከፋብሪካ የታሰረ ስለሆነ ሚዛን አያስፈልገውም።

ቤዛ፦ እኔ ግን አልስማማም። ማለቴ መርፌውን ይግዛ፣ ግን ትልቁ ለውጥ ስፒከር ነው። በላፕቶፕ ስፒከር እያዳመጠ ማይክሮላይን ምን ይሰራለታል?

ናቲ፦ ስፒከር ሻንጣ ውስጥ?

ቤዛ፦ ማን ሻንጣ ውስጥ አለ! ከባዱን እዚሁ ነው የሚፈልገው። የዘመድ ቤት ይጠይቅ፣ የድሮ የጃፓን አምፕሊፋየር አቧራ ጠጥቶ ቡፌ ስር የተቀመጠበት ቤት አይጠፋም። ከኋላው ፎኖ የሚል ቀዳዳ ካለው ደግሞ ፕሪአምፕ፣ የመርፌውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላው፣ እዛው ውስጡ አለ ማለት ነው።

ናቲ፦ እሱ ላይ አንድ ነገር። ማጫወቻው ጀርባ ላይ ማብሪያ አለች፣ ፎኖና ላይን የምትል፤ ላይን ላይ ስትሆን ማጫወቻው ራሱ ውስጥ ያለው ፕሪአምፕ ድምፁን ያጎላዋል። ፎኖ ቀዳዳ ላይ ሰክቶ ማብሪያዋን ላይን ላይ ከተዋት ሁለት ጊዜ ይጎላና ድምፁ ይሰነጠቃል። በተቃራኒው ካደረገው ደሞ ቀጭንና ትንሽ ድምፅ ነው የሚወጣው፣ ቤዝ የሚባል የለም። ስንቱ ሰው በዚች ማብሪያ ምክንያት ዕቃው ተበላሸ ብሎ ሸጧል።

ቤዛ፦ ቡፌ ካልን አይቀር፣ ማጫወቻውን ቡፌ ላይ ከስፒከሮቹ ጋር መደርደር ይቅር። ዳንቴሉም ይነሳ! ግማሹ እግር ዳንቴል ላይ፣ ግማሹ እንጨት ላይ ቆሞ እንዴት ነው ልኩን የሚጠብቀው?

ናቲ፦ እናቶች ይቀየሙናል።

ቤዛ፦ ይቀየሙ። ቀጥሎ እጥበት። የሚያጫውተው የድሮ የኛን ከሆነ፣ እነዛን በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትናንሾቹን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረው ሸክላ አሳታሚ አምሃ ሪከርድስ ያወጣቸውን ዓይነት፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈበት አቧራ ነው ያለበት። እሱ ላይ ውድ መርፌ ከማስቀመጥ በፊት ይታጠብ። የተጣራ ውሃ ማደያ ይገኛል፣ የባትሪ ውሃ የሚሉት፣ አሲዱን አይደለም እባካችሁ! አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ በመስመሩ አቅጣጫ እየዞሩ፣ መሃል ያለው ወረቀት ሳይነካ። ከዛ ሳሙና በሌለው በዛው የተጣራ ውሃ ማለቅለቅ።

ናቲ፦ በሶፍትና በሳኒታይዘር የሚወለውሉም አሉ።

ቤዛ፦ ብዙ ሳኒታይዘር ውስጥ ግሊሰሪን አለ፣ መስመሩ ውስጥ ይቀራል። ሶፍቱ ደግሞ ይፈረፈራል።

ናቲ፦ ስለዚህ ለአክስት ልጅ የሚላከው፦ ኤሊፕቲካል መርፌ፣ አቧራ የሚጠርግ የካርቦን ብሩሽ፣ አለቀ። ሁለቱም ኪስ ውስጥ ይገባሉ።

ቤዛ፦ የተረፈው ብር ለስፒከር ይቀመጥ። መርፌውንም የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ታድርገው፣ ሻንጣ ሲወረወር አይተናል።

ናቲ፦ ኧረ መብራትስ? መሃል ላይ ሲጠፋስ?

ቤዛ፦ ክንዱን አንስቶ ቦታው ይመልስ፣ ማጫወቻውን ከሶኬቱ ይንቀል፣ ሲመጣም ትንሽ ይጠብቅ። የሚቀጥለው ጥያቄ ምንድነው?