«ለምን እዚያ?» ብላችሁ ጠይቁ
በሐዋሳ በተካሄደ የተማሪዎች የዓለም ጂኦግራፊ ጥያቄና መልስ ውድድር መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ከሐይቅ ዳር ሥራችሁን አቋርጣችሁ የመጣችሁ ወጣት አስጎብኚዎች፣ በሆቴል የምትሠሩ እህቶችና ወንድሞች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እናንተ ዛሬ የምትወዳደሩ ተማሪዎች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

ዛሬ ዓለምን ምን ያህል እንደምናውቃት ራሳችንን ልንፈትን ተሰብስበናል። አገር ይጠየቃል፣ ዋና ከተማ ይጠየቃል፣ ተራራና ወንዝ ይጠየቃል፣ ሰው ገንዘቡን አጠራቅሞ ሊያያቸው የሚሄድባቸው ቦታዎች ይጠየቃሉ። ከውድድሩ በፊት ጥቂት ደቂቃ የተሰጠኝ ይህ ሁሉ ጥያቄ ለምን እንደሚያስፈልግ እንድናገር ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ከሰው ጋር ስንተዋወቅ መጀመሪያ የምንጠይቀው ምንድን ነው? «አገርህ ወዴት ነው?» ነው። ሰውየው «ይርጋለም» ካለ ይርጋለም ያለችው አክስታችን ትነሳለች። «አለታ ወንዶ» ካለ እዚያ ያስተማረ ወንድማችን ይነሳል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የጋራ ሰው እናገኛለን። ከዚያ በኋላ ሰውየው ባዕድ አይደለም። ቦታን የምናውቀው ሰውን ለማቅረብ ነው።

የውጭ እንግዳ ሲመጣ ግን ይህ ደግ ልማዳችን ይጠፋል። ነጭ የሆነ ሁሉ «ፈረንጅ» ነው። ከእስያ የመጣ ሁሉ «ቻይና» ነው። በፒያሳ በኩል ሲያልፉ «ቻይና! ቻይና!» እየተባለ ሲጮህባቸው የሰማኋቸው እንግዶች ኮሪያውያን ነበሩ። ይህን ስሰማ በጣም አዝኛለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1951 የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ተነስተው ኮሪያ ዘምተዋል። በደቡብ ኮሪያ ቹንቾን የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ለኢትዮጵያውያን ዘማቾች የቆመ ሐውልትና የመታሰቢያ አዳራሽ አለ። ቹንቾን ደግሞ እንደ ሐዋሳ በሐይቅ የምትታወቅ ከተማ ናት። ልዩነቱ የእነሱ ሐይቆች በግድብ የተፈጠሩ መሆናቸው ነው። እንግዲህ ከዚያ አገር የመጣ ሰው ሐይቃችን ዳር አሞራ ገደል ቆሞ ዓሣ አጥማጆቹን ሲያይ አንድ ወጣት ቀርቦ «ከኮሪያ ነህ? ቹንቾንን ታውቃታለህ?» ቢለው አስቡት። ያ እንግዳ ይቺን ከተማ መቼም አይረሳትም።

ውጭ አገር የሄደ ዘመድ ያላችሁ ታውቃላችሁ። «ኢትዮጵያ? እዚያ በረሃ አይደለም እንዴ?» ሲባሉ እንዴት እንደሚናደዱ ነግረዋችኋል። ንዴታቸው ትክክል ነው። በዚህ አረንጓዴ አገር፣ ቡና በጓሮ በሚበቅልበት ሲዳማ የተወለደ ሰው በረሃ ነው የመጣኸው ሲባል ቢከፋው አይፈረድበትም። እኛም ግን ስሎቬኒያን ከስሎቫኪያ፣ ኦስትሪያን ከአውስትራሊያ ማምታታት ማቆም አለብን። ስሎቬኒያ ዋና ከተማዋ ልዩብልያና ነው። ትሪግላቭ የሚባለው ባለ 2,864 ሜትር ተራራዋ ባንዲራዋ ላይ ተስሏል። የስሎቫኪያ ዋና ከተማ ብራቲስላቫ ናት። ይህን ያወቀ አስጎብኚ የእንግዳውን ፓስፖርት ሲያይ የሚለው ነገር አያጣም።

ተማሪዎች፣ ዋና ከተሞችን በቃል መያዝ ጥሩ ነው፤ ያዙ። ነገር ግን እዚያ አትቁሙ። የአውስትራሊያ ዋና ከተማ ሲድኒ ትመስላለች፤ ካንቤራ ናት። የብራዚል ሪዮ ትመስላለች፤ ብራዚሊያ ናት። የናይጄሪያ ሌጎስ ትመስላለች፤ አቡጃ ናት። የቱርክ ኢስታንቡል ትመስላለች፤ አንካራ ናት። እነዚህ መልሶች ለየብቻቸው ሲሸመደዱ ቶሎ ይረሳሉ። «ለምን እዚያ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ይያያዛሉ። ሲድኒና ሜልቦርን «እኔ ልሁን፣ እኔ ልሁን» ሲባባሉ መሃል ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ብራዚል ሕዝቧ ባሕር ዳርቻ ላይ ተከማችቶ ስለነበር ወደ መሃል አገር ለመሳብ እ.ኤ.አ. በ1960 ዋና ከተማዋን አዛወረች። ናይጄሪያም አገሪቱ መሃል ላይ፣ የማንም ብሔር ብቻ ያልሆነ ቦታ ፈልጋ ነው። እኛ ሐዋሳዎች ይህ ሊከብደን አይገባም። ከተማችን የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። መንገዱም ሐይቁም ያው ነው፤ ከተማዋ የምታገለግለው ክልል ግን ተለውጧል።

አሁን ስለ ካርታ ልናገር። በብዙ ክፍሎች ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የዓለም ካርታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እዚያ ላይ ግሪንላንድ አፍሪካን ታክላለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የአፍሪካ ስፋት ወደ 30 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የግሪንላንድ 2.2 ሚሊዮን አይሞላም። አፍሪካ ግሪንላንድን 14 ጊዜ ያህል ትበልጣለች። ሌላም ልጨምር፦ ኢትዮጵያ ብቻዋን 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የግሪንላንድ ግማሽ መሆኗ ነው! ካርታው ላይ ግን ከሃያ በላይ ኢትዮጵያ ግሪንላንድ ውስጥ የሚገባ ይመስላል።

ካርታውን የሠራው ሰው ሊያታልለን አስቦ አይደለም። መርካቶር እ.ኤ.አ. በ1569 ያወጣው ለመርከበኞች ነው። መርከበኛው በኮምፓስ አንድ አቅጣጫ ይዞ ሲጓዝ መንገዱ ካርታው ላይ ቀጥ ያለ መስመር እንዲሆንለት ፈለገ። ያ ተሳክቶለታል። የብርቱካን ልጣጭ ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጉት እንደሚቀደደው ሁሉ፣ ክብ ምድርም ወረቀት ላይ ስትዘረጋ የሆነ ነገሯ ይበላሻል። መርካቶር አቅጣጫን አዳነ፤ ስፋትን ሰዋ። ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር አገሩ ይለጠጣል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን እንዳለን ቀረን፤ ሰሜኖቹ ገዘፉ። ስለዚህ ስለ ስፋት ስትጠየቁ ግድግዳ ላይ ያለውን ካርታ ሳይሆን ሉሉን አስቡ። መድረኩ ላይ ያስቀመጥነውም ለዚሁ ነው። ከውድድሩ በኋላ ክር ይዛችሁ ኑና ለኩበት።

ሌላው፣ እኔ በጣም የምወደው ጥያቄ ይኸውላችሁ። ቀትር ላይ ግቢያችሁ ውስጥ ዱላ ብትተክሉ ጥላው ወደየት ይወድቃል?

«በሰሜን ንፍቀ ክበብ የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል» የሚል መልስ ብዙ ቦታ ታገኛላችሁ። ለለንደን ልክ ነው። ለካይሮም ልክ ነው። ለሐዋሳ ግን ግማሽ እውነት ነው። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ7 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ነው። ፀሐይ ደግሞ እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ወደ ሰሜን ትወጣለች። ታልፈናለች ማለት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መጋቢት 30 ገደማ እና ነሐሴ 29 ገደማ፣ ፀሐይ በትክክል አናታችን ላይ ትሆናለች። በነዚያ ቀናት ቀጥ ብሎ የተተከለ ዱላ ቀትር ላይ ጥላ የለውም። በመካከላቸው ባሉት ወራት ጥላው ወደ ደቡብ ነው። ሰኔ አጋማሽ ላይ የአንድ ሜትር ዱላ ወደ ደቡብ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ወደ ሰሜን ዞሮ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል።

ስትሞክሩት ሰዓቱን ልብ በሉ። ቀትር የምንለው ልክ ስድስት ሰዓት ላይ አይደለም፤ ስድስት ተኩል ገደማ ነው። ሰዓታችን የተስተካከለው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። ያ መስመር የሚያልፈው በሶማሌ ክልል፣ በዋርዴር አካባቢ ነው። እኛ ከዚያ በምዕራብ ስላለን ፀሐይ ዘግይታ ትደርሰናለች። እነሆ ከአንድ ዱላና ከጥላው ኬክሮስም ኬንትሮስም ወጣ። ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ግቢ ውስጥ እንጨት ሲተክሉ ብታዩ አትቆጡ፤ እያጠኑ ነው።

ወደ ሐይቃችን ልምጣ። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። መውጫ የሌለው ሐይቅ ብዙ ጊዜ ጨዋማ ይሆናል፤ ሻላና አቢያታን ማየት ነው። የእኛው ግን ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የሚረባበት ጨዋማ ያልሆነ ውኃ ሆኖ ቆይቷል። የውኃ ባለሙያዎች ምክንያቱን ሲናገሩ ውኃው ከመሬት በታች ሰርጎ ይወጣል ይላሉ። ታዲያ ይህ ሐይቅ በሳይቤሪያ ካለው ከባይካል ጋር ምን ያገናኘዋል? ሁለቱም የምድር ቅርፊት በተሰነጠቀበት ሸለቆ ውስጥ ያሉ ናቸው። ባይካል 1,642 ሜትር ጥልቀት አለው፤ በዓለም አንደኛ ነው። ሁለተኛው ታንጋኒካ ነው፤ 1,470 ሜትር። እሱም በምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፣ የእኛው ዘመድ። አይስላንድ ውስጥ ደግሞ ቲንግቬሊር የሚባል ቦታ አለ። ጎብኚ ከመላው ዓለም እየመጣ የአሜሪካና የአውሮፓ የመሬት ንጣፎች በተለያዩበት ስንጥቅ መካከል ይራመዳል። ሰው ለዚህ ብሎ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ይሄዳል። እኛ ታቦር ተራራ ላይ ወጥተን የስምጥ ሸለቆውን ግድግዳ በነጻ እናያለን። አስጎብኚዎች፣ ከአይስላንድ የመጣ እንግዳ ካገኛችሁ ይህን ንገሩት። «እናንተም እንደኛ በስንጥቅ ላይ ነው የምትኖሩት» በሉት።

ስለ ጉዞ መዳረሻዎች ረጅም ነገር አልናገርም፤ ጥያቄዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ኪሊማንጃሮ ታንዛኒያ ውስጥ ነው እንጂ ኬንያ አይደለም። የቪክቶሪያ ፏፏቴን ዛምቢያና ዚምባብዌ ይጋሩታል። በፈረንጆቹ ሐምሌ ኬፕ ታውን ለመዝናናት የሚሄድ ሰው ጃኬት ይያዝ፣ እዚያ ክረምት ነው፣ ዝናብም አለ። ፔሩ ውስጥ ያለው ጥንታዊው ከተማ ማቹ ፒቹ 2,430 ሜትር ላይ ነው፤ ከላሊበላ ከፍታ ብዙም አይርቅም።

ላሊበላን ካነሳሁ አይቀር፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርና የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተጨምረዋል። ሁለቱም ከሐዋሳ ሩቅ አይደሉም። ጌዴኦ ማለት ዲላ መንገድ ላይ በመስኮት የምታዩት ነው፤ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና። ባሌ ደግሞ ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ይሮጣል፣ ከሳነቴ ወርዳችሁ ሐረና ደን ትገባላችሁ። ዱባይና ባንኮክን ማለም መልካም ነው። እነዚህ ሁለቱ ግን በአውቶቡስ ይደረስባቸዋል፤ ትምህርት ቤቶች ለሚቀጥለው ዓመት ጉዞ ከአሁኑ ያስቡበት።

በመጨረሻ ስለ ነጥብ አሰጣጡ። ትክክለኛ ስም ለተናገረ ግማሽ ነጥብ ነው። ሌላው ግማሽ የሚሰጠው ለምክንያቱ ነው። ለምሳሌ ወደ ባሕር ለመድረስ የሁለት አገር ድንበር መሻገር ያለባቸው አገሮች በዓለም ሁለት ብቻ ናቸው፤ ኡዝቤኪስታንና ሊችተንስታይን። ስማቸውን ብቻ ካላችሁ ግማሹን ታገኛላችሁ። «ጎረቤቶቻቸው በሙሉ ራሳቸው ባሕር በር የላቸውም» ካላችሁ ሙሉውን ትወስዳላችሁ። ተመልካቾች ሹክ አትበሉ፤ ልጆቹ ራሳቸው ያስቡ። ቡድኖች ከመመለሳችሁ በፊት ተመካከሩ፣ ሉሉንም መንካት ይፈቀዳል።

ሰዓት ያዣችን ተዘጋጅታለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቡድኖች ወደ መድረክ ኑ። አመሰግናለሁ።