ዳዶውን ሌላ ሰው ይፈትሽልኝ

እንደምን አመሻችሁ። ቅዳሜ ማታ ነው። አንዳንዶቻችሁ ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችሁት፣ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ልጆች ይዛችሁ፣ ከዋሽንግተን ዙሪያ፣ ከአሌክሳንድሪያም ከሲልቨር ስፕሪንግም። በጣም ነው የማመሰግነው። አባቶችና እናቶችም ስላላችሁ ቶሎ ወደ ነገሬ ልግባ።

እኔ ነርስ ነኝ። ሳምንቱን ሆስፒታል ነው የማሳልፈው። ቅዳሜ ሲደርስ ግን፣ ተረኛ ካልሆንኩ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ከቤታችን የአንድ ሰዓት መንገድ ወደምትርቅ ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ እሄዳለሁ። እዚያ ሃንጋር፣ የአውሮፕላን ማቆያ ቤት፣ ውስጥ ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን አለችን። እኔና ባለቤቴ ነን የሠራናት። ቤታችን ባለው የመኪና ጋራዥ ውስጥ፣ በ7 ዓመት።

ይህን ስናገር ሁሌም አንድ ጥያቄ ይመጣል። "ጋራዥ ውስጥ በተሠራ ነገር ሰማይ ላይ ትወጫለሽ? አትፈሪም?" ይሉኛል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ዛሬም የመጣሁት እሱን ለመመለስ ነው። አዎ፣ እፈራለሁ። ከሁሉ በላይ የምፈራው የራሴን እጅ ነው፤ ማንም ሳያይልኝ የሠራሁትን ሥራ።

መጀመሪያ አውሮፕላኗን ላስተዋውቃችሁ። አርቪ-9ኤ ትባላለች። ዕቃዋ የሚመጣው ኦሪገን ካለው ቫንስ ኤርክራፍት ነው፤ ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን የሚባል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1973 የጀመረው ድርጅት ነው። በየሰዉ ጋራዥ ተሠርተው የበረሩት የዚህ ድርጅት አውሮፕላኖች ከ10 ሺህ በላይ ናቸው። በሣጥን የሚመጣላችሁ የተቆረጠ የአሉሚኒየም ላሜራ፣ ላሜራውን እርስ በርስ የሚያያይዝ ከረጢት ሙሉ ሪቬት፣ ቡሎንና ቡሎኑን የሚያጠብቀው ዳዶ፣ ከዚያ ደግሞ ወፍራም የሥዕል ጥራዝ ነው። ላሜራው ብዙ ቦታ ላይ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ሞተሯ ላይካሚንግ ነው፣ 4 ሲሊንደር፣ 160 የፈረስ ጉልበት።

የአሜሪካ ሕግ አንድ ሰው ለመማሪያና ለመዝናኛው ብሎ አውሮፕላን እንዲሠራ ይፈቅዳል። ቁም ነገሩ ከግማሽ በላይ የሆነውን ሥራ ለፍቅሩ የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው መሥራት አለባቸው። ሲያልቅ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ወይም እሱ የወከለው ሰው መጥቶ ያያታል፣ በሯ አጠገብ "ኤክስፔሪሜንታል"፣ የሙከራ ማለት ነው፣ ተብሎ በትልቁ ይጻፋል፣ ውስጧ ደግሞ ተሳፋሪ የሚያነበው ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል። ከዚያ በተወሰነላችሁ አካባቢ ብቻ ትሞክሯታላችሁ፤ እንደ ሞተሩና እንደ ፕሮፔለሩ ዓይነት ብዙ ጊዜ 25 ወይም 40 ሰዓት ነው። ሰዓቱ እስኪሞላ ልጃችሁን ወይም ጎረቤታችሁን አሳፍራችሁ ሽር ማለት የለም።

ሪቬት መምታት የሁለት ሰው ሥራ ነው። እኔ በውጭ በኩል መምቻውን እይዛለሁ፤ ባለቤቴ በውስጥ በኩል፣ አንዳንዴ ጅራቷ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ፣ ከባዱን ብረት ሪቬቱ ላይ ደግፎ ይይዛል። "ያዝ?" እላለሁ። "ያዝኩ፣ ምቺ" ይላል። ጠርርር። ከዚያ እሱ በባትሪ ያየዋል። ከተጣመመ ሰርስረን አውጥተን ሌላ እንመታለን። እንዲህ እያልን ከ10 ሺህ በላይ ሪቬት መትተናል፤ እያንዳንዱን ደግሞ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው አይቶታል። ያኔ ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚጠቅመኝ አልገባኝም ነበር።

የገባኝ ሞተሩ ላይ ስንደርስ ነው።

የሞተሩን ቱቦዎች ብቻዬን ነበር የገጠምኩት። ከሥራ ስመለስ፣ ማታ ማታ። አንድ ቀን የነዳጅ ቱቦ መጋጠሚያ ዳዶ በእጄ አስገብቼ፣ ቁልፍ አንስቼ ላጠብቀው ስል ስልክ ተደወለ። ልጄን ከልምምድ የሚያመጣት ሰው ቀርቷል። ወጣሁ። ስመለስ እራት፣ የቤት ሥራ፣ እንቅልፍ። በማግስቱ ጋራዥ ስገባ ሌላ ቱቦ ጀመርኩ። ያቺ ዳዶ እንደዛው ቀረች። ስታዩአት የተጠበቀች ነው የምትመስለው፣ ከሌሎቹ ምንም አትለይም።

ሞተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ልናስነሳ አንድ ቀን ሲቀረን አንድ አባት መጡልን። ከኢትዮጵያ አየር መንገድ የጥገና ክፍል በጡረታ ወጥተው እዚህ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ ስማቸው እንዲጠራ አይፈልጉም፣ እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። በእጃቸው ትንሽ ባትሪና ረጅም እጀታ ያላት መስታወት ይዘዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ብዙም አልተናገሩም። በጣታቸው እየነኩ፣ በመስታወቷ ከጀርባ እያዩ፣ ቱቦውን ከታንኩ ጀምረው እየተከተሉ መጡ። እዚያች ዳዶ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"አንቺ ልጅ፣ ይቺን ማን ነው ያጠበቃት?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"እስቲ ቁልፉን አምጪው።"

ራሴ እንድይዘው ሰጡኝ። ዳዶዋ ያለምንም ጉልበት ዞረች። አልተቆጡኝም። "ሞተሩ ይነሳ ነበር፤ መሬት ላይ ምንም ላይልሽ ይችል ነበር" ብቻ አሉኝ። እኔም ገባኝ። ሞተር ይንቀጠቀጣል፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር ደግሞ ዳዶ ይፈታል፣ ከተፈታ ቤንዚኑ የሚንጠባጠበው የጋለ ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫው፣ ላይ ነው። ወይም ሞተሩ ዛፍ አናት ላይ ስትደርሱ ነዳጅ ያጣል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2012 በቤት ስለሚሠሩ አውሮፕላኖች ጥናት አውጥቶ ነበር። ከአደጋዎቹ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ሞተር ኃይል ማጣቱ ነው፤ ሌላው አብራሪው አውሮፕላኑን መቆጣጠር ሲያቅተው ነው። ያንን ጥናት ሳነብ የማስበው ስለዚያች ዳዶ ነው።

አሁን የምላችሁን ነገር እባካችሁ ልብ በሉልኝ። አውሮፕላኑን የሠራ ሰው አመልክቶ የጥገና ፈቃድ ማግኘት ይችላል። ያ ፈቃድ ካለኝ በየ12 ወሩ የሚደረገውን ፍተሻ ራሴ አድርጌ፣ መዝገቡ ላይ ራሴ እፈርማለሁ። ሌላ ሰው አይጠየቅም። የሠራሁት እኔ፣ የፈተሽኩት እኔ፣ የፈረምኩት እኔ፣ የማበረውም እኔ። ሕጉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ በእጃችን የሠራነውን በእጃችን እንድንጠግን ያደረገን እሱ ነው፣ እወደዋለሁ። ግን እኔ ሆስፒታል ውስጥ ኢንሱሊን ከመስጠቴ በፊት ሌላ ነርስ ጠርቼ መጠኑን አሳያለሁ። እሷም ስታዝ እኔን ትጠራኛለች። የ15 ዓመት ልምድ ስላለኝ አይቀርም፤ እንዲያውም ልምድ ያለው ሰው ዓይኑ ማየት የሚጠብቀውን ነው የሚያየው። ታዲያ ለበሽተኛዬ የማደርገውን ለአውሮፕላኔ ለምን እተዋለሁ?

ስለዚህ ከጋሼ ቀን ጀምሮ የቤታችን ሕግ ይህ ነው። ያጠበቅነው ዳዶ ሁሉ ላይ፣ ከዳዶው እስከ ቡሎኑ የምትሻገር ቀጭን የቀለም መስመር እናሰምራለን። ዳዶው ትንሽ ቢዞር መስመሯ ትሰበራለች፣ በባትሪ ስታበሩ ወዲያው ትታያለች። ይህንን ሁሉም የአውሮፕላን ጠጋኝ ያውቀዋል። የእኛ ጭማሪ አንድ ነገር ነው፦ መስመሯን የሚያሰምረው ያጠበቀው ሰው አይሆንም። እኔ ካጠበቅኩ ባለቤቴ ቁልፉን አስገብቶ ሞክሮ እሱ ያሰምራል። መሃል ላይ ስልክ ከተደወለ ደግሞ ዳዶዋ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል፣ እሳት ቢነሳም ያ ጨርቅ ሳይታሰር ከጋራዥ አይወጣም።

የዓመቱ ፍተሻ ከባድ ነው፣ እኔ ግን እንደ በዓል ነው የምጠብቀው። የሞተሩ ክዳን ይወርዳል፣ ወንበሮቹ ይወጣሉ፣ የክንፉ መፈተሻ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። የዘይት ፊልትሮውን አንጥለውም፣ እንቆርጠዋለን። ውስጡ ያለውን የታጠፈ ወረቀት ነጭ ሳህን ላይ ዘርግተን በማጉያ እናየዋለን። የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ ማግኔት እናስጠጋለታለን፤ ከተሳበ ብረት ነው፣ ሞተሩ ውስጥ አንድ ነገር እየተበላ ነው ማለት ነው። የደም ምርመራ ውጤት እንደማንበብ ነው ለእኔ። ነዳጁን የሚለኩሱት ካንዴላዎች ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላ 8 ናቸው፤ ይወጣሉ፣ ይጸዳሉ፣ ክፍተታቸው ይለካል። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ ሲሊንደሩ ውስጥ አየር እንሞላና ምን ያህሉን እንደያዘ እናያለን። ካፈሰሰ ጆሮ ነው የሚሠራው። ድምፁ በማርሚታ በኩል ከመጣ የማስወጫው ቫልቭ ነው፣ በካርቡራተር በኩል ከመጣ የማስገቢያው፣ በዘይት መሙያው ከመጣ የፒስቶኑ ቀለበት።

ማርሚታው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እንደ ነርስ። የብዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች ማሞቂያ በጋለው ማርሚታ ዙሪያ የሚያልፍ አየር ነው። ማርሚታው ከተሰነጠቀ ጭሱ በዚያው መንገድ እናንተ ጋ ይመጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ከደማችን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ደግሞ ኦክስጅን ከሚጣበቅበት ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። የመጀመሪያ ምልክቱ ራስ ምታትና መፍዘዝ ነው፤ የፈዘዘ አብራሪ ደግሞ መፍዘዙን አያውቅም። ስለዚህ ማርሚታውን በመስታወት ዙሪያውን እናየዋለን፣ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ግራጫ ወይም ጥቁር ጥላሸት አጠገቡ ይተዋል። ውስጧም ጋዙን ሲያገኝ የሚጮህ መሣሪያ አስገብተናል። እዚህ ያላችሁ አብራሪዎች፣ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ነገ ግዙ።

የመጨረሻው ፍተሻ መሪው ነው። ባለቤቴ ውስጥ ተቀምጦ የመሪውን ዱላ ወደ ግራ ያደርጋል፤ እኔ ውጭ ቆሜ የክንፎቹን ተንቀሳቃሽ ጠርዞች እያየሁ ጮክ ብዬ "የግራው ወደ ላይ፣ የቀኙ ወደ ታች" እላለሁ። ቀላል ይመስላል። በሌሎች አውሮፕላኖች ከጥገና በኋላ መሪው ተገላብጦ ተገጥሞ ሰው የሞተበት ጊዜ አለ፣ ለዚህ ነው ጮክ ብዬ የምለው።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው እንግዲህ ቅዳሜ የሚመጣው። ጠዋት ከየታንኩ ሥር ነዳጅ በትንሽ ብርጭቆ እቀዳለሁ፤ ቤንዚኑ ሰማያዊ ነው፣ ውሃ ካለበት ውሃው ከብዶ ከታች ይቀመጣል፣ በዓይን ይለያል። ዋሽንግተን ዙሪያ ስለምንኖር ደግሞ ከመነሳታችን በፊት ሌላ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2001ዱ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ወዲህ ከተማዋን 30 የባሕር ማይል ያህል የከበበ ልዩ የአየር ክልል አለ፤ እዚያ ለመብረር የበረራ ዕቅድ አስመዝግባችሁ፣ የራሳችሁን መለያ ቁጥር ተቀብላችሁ፣ ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ጋር እየተነጋገራችሁ ነው። እሱን ስንጨርስ ወደ ምዕራብ እናቀናለን። በጥቅምት ወር የብሉ ሪጅ ተራሮች ቀይና ቢጫ ሲሆኑ፣ ሸናንዶአ ወንዝ ከታች እየተጠማዘዘ፣ ሉሬይ አርፈን ቡና ጠጥተን ስንመለስ፣ ያኔ 7 ዓመቱ ትዝ አይለኝም። አንዳንድ ቅዳሜ ደግሞ ደመናው ዝቅ ይላል ወይም ነፋሱ ማኮብኮቢያውን በጎን ይመታዋል፤ ሃንጋሩን ጠርገን፣ ጎማ ነፍተን እንመለሳለን። ያንን ቀን እንደ ባከነ አልቆጥረውም።

ልጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ላይ ሉድቪግ ቬበር የሚባል ጀርመናዊና ኢትዮጵያውያን ረዳቶቹ "ፀሐይ" የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ሠርተዋል። በልዕልት ፀሐይ ስም ነው የተሰየመችው። ጣልያን ወስዷት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ አገሯ ተመለሰች። የፀሐይን ፎቶ ሃንጋራችን ግድግዳ ላይ ሰቅለናል። የረዳቶቹ ስም ከቬበር ስም እኩል አለመነገሩ ያሳዝነኛል። አንዱ መትቶ ሌላው ሳይይዝለት የሚሠራ አውሮፕላን እስካሁን አላየሁም።

ወላጆች፣ ልጆቻችሁ መብረር ከፈለጉ ገንዘብ አስቀድማችሁ አትጨነቁ። እ.ኤ.አ. በ1953 ዊስኮንሲን ውስጥ የተመሠረተው የእነ ፖል ፖበረዝኒ የአውሮፕላን ወዳጆች ማኅበር፣ ኢኤኤ፣ ያንግ ኢግልስ የሚል ዝግጅት አለው። ከ8 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆችን ፈቃደኛ አብራሪዎች በነፃ ያበሯቸዋል። ለሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ጋራዥ ድረስ መጥተው ሥራውን የሚያዩ ፈቃደኛ አማካሪዎች አሉት፣ ክፍያ የለውም። እንደ ጋሼ ያለ ሰው አጠገቡ የሌለው እነሱን ይጥራ።

ግብዣዬን ተናግሬ ልቀመጥ። የዘንድሮ ፍተሻችን የሚጀመረው በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። ጋሼም አሉ። እዚህ ውስጥ መኪና የምትጠግኑ፣ ኤሌክትሪክ የምትሠሩ፣ ብየዳ የምታውቁ ብዙ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ የእናንተን ዓይን ነው የምፈልገው። ባትሪ ያዙ። አሮጌ ልብስ ልበሱ፣ ዘይት ይነካችኋል። ልጆች ይምጡ፣ ፕሮፔለሩን ግን ማንም አይነካም፣ ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን። ቡናና ዳቦ ከእኛ ነው።