ሻንደሊየር፣ የቀንዲል ዘመድ

እንደምን አመሻችሁ።

እስቲ ቀና በሉ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ላይ። ይሄ ከራሳችሁ በላይ የተንጠለጠለው ነገር አሥራ ሁለት ክንድ አለው። ሦስቱ አይበሩም። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተጠራሁት ለንግግር አልነበረም፣ የንባብ ክበቡ ልጆች የደወሉልኝ እነዚህን ሦስቱን እንድቀይር ነው። ሥራዬ እሱ ነው። ድሬ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ሽቦ ስጎትት ኖሬያለሁ። ታዲያ የደወለችው ልጅ "ለመሆኑ ሻንደሊየር በአማርኛ ምን ይባላል?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ አላቆምም፣ ሃያ ደቂቃ ለፈለፍኩባት። "በቃ ይሄንኑ መጥተህ አውራልን" አለች። በልጄ ዕድሜ ናት። ግን ድሬ አይደል፣ እኛ ጋ ሁሉም "አንተ" ነው።

ይሄን ዕቃ ደንበኞቼ በምን በምን እንደሚጠሩት ብትሰሙ ትስቃላችሁ። ሻንደሌር፣ ሻንድለር፣ ቻንደሊየር። አንዱ "ያ ዘለላ ዘለላ የሚለው መብራት" ብሎኛል፣ እሱ ከሁላችንም ይሻላል። እኔን ስለ ቃሉ እንዳስብ ያደረጉኝ ግን አንዲት የሐረር እናት ናቸው። ልጃቸው ከውጭ የላከላቸውን ልሰቅል ጁገል ውስጥ ቤታቸው ሄጄ፣ መሰላሉ ላይ እንዳለሁ ከታች ሆነው "ልጄ፣ ቀንዲሉን ከፍ አድርገው፣ ራስ ይመታል" አሉኝ። ቀንዲል! በልቤ ሳቅሁ። እሳቸው አሮጌውን ቃል ለአዲሱ ዕቃ የሰጡ መስሎኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ስፈልግ፣ ስጠይቅ፣ ስቄ የነበረው በራሴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በላቲን "ካንዴሬ" ማለት ማብራት፣ ነጥቶ መታየት ነው። ከእሱ "ካንዴላ" ወጣ፣ ሻማ ማለት ነው። ካንዴላ ወደ ፈረንሳይ ሄዳ "ሻንዴል" ሆነች፣ የሻማ መያዣው ደግሞ "ሻንደሊየር" ተባለ። እንግሊዞች ከፈረንሳዮቹ ወሰዱትና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከጣሪያ ለሚንጠለጠለው ባለብዙ ክንድ መብራት ስም አደረጉት። ይሄ አንዱ መንገድ ነው። ሌላው መንገድ ወደ ምሥራቅ ነው። ያቺው ካንዴላ ወደ ግሪክ ተሻገረች፣ በአረብኛ "ቂንዲል" ሆነች፣ በግዕዝም "ቀንዲል" ሆና ገባች። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ዘይት የሚቀባበትን ምሥጢር "ምሥጢረ ቀንዲል" የምትለው ከዚሁ ነው። "የነጻነት ቀንዲል" እያሉ በሬዲዮ የሚናገሩትም ይሄንኑ ቃል ነው። ስለዚህ እኚያ እናት አልተሳሳቱም። ሻንደሊየርና ቀንዲል የአንድ አያት ልጆች ናቸው። አንዱ በፓሪስ ዞሮ ሱፍ ለብሶ መጣ፣ ሌላኛው በቀይ ባሕር በኩል ቀድሞ ገብቶ ቤተኛ ሆነ።

እኛም ደግሞ ተቀባይ ብቻ አልነበርንም። ቁርአን ውስጥ ስለ ብርሃን በሚናገረው አንቀጽ፣ ሱረቱ ኑር ውስጥ፣ መብራቱ የተቀመጠበት የግድግዳ ቀዳዳ "ሚሽካት" ይባላል። ጥንታዊዎቹ የአረብኛ ሊቃውንት ራሳቸው ይሄ ቃል ከሐበሻ ቋንቋ የመጣ ነው ብለው ጽፈዋል። የኛው "መስኮት" ነው። መብራቱን ተዋስን፣ መብራቱ የሚቀመጥበትን ሰጠን። ይሄን ያወቅሁ ቀን አቦ፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አረቦቹ ራሳቸው ሻንደሊየርን "ሱረያ" ይሉታል። ሱረያ የምትባል ጎረቤት የሌለው እጁን ያውጣ! አያችሁ፣ ማንም የለም። ሱረያ በሰማይ ላይ ተሰብስበው የሚታዩት ትንንሾቹ ከዋክብት ስም ነው። ለኔ ከሁሉም ቆንጆው ስም ይሄ ነው። ፈረንሳዩ ሻማውን አይቶ ስም አወጣ፣ አረቡ ቀና ብሎ ሰማዩን አይቶ አወጣ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። ዛሬ ፓሪስ ሄዳችሁ ሱቅ ገብታችሁ "ሻንደሊየር" ብትሉ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም የሻማ መያዣ ነው የሚያመጡላችሁ። የሚንጠለጠለውን እነሱ "ሉስትር" ነው የሚሉት። ከተማችን ደግሞ የባቡር ልጅ ናት፣ ሐዲዱ በፈረንጆቹ 1902 እዚህ ሲደርስ መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ነበር የተባለችው፣ ፈረንሳይኛም ከሸመንደፈሩ ጋር አብሮ ገብቷል። "አምፖል" የፈረንሳይ ነው። "አባዡር" የፈረንሳይ ነው። ሻንደሊየር ግን መልኩ ፈረንሳይ ቢሆንም በባቡር የመጣ አይመስለኝም፣ በእንግሊዝኛ በኩል፣ በፊልምና በዕቃ ካርቶን ላይ ተጽፎ ነው የገባው። ከዚራ ሰፈር የነበሩት ፈረንሳዮች "ሉስትር" ብለውት ይሆናል እንጂ እንዲህ አይሉትም ነበር።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ድሮ አውሮፓ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ በጣም ተራ ነበሩ። ሁለት እንጨት ተጣምሮ መስቀል ይሠራል፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ሹል ነገር ይተከላል፣ ሻማው እሱ ላይ ይሰካል። ከዚያ በገመድና በመዘውር ወደ ላይ ይጎተታል። ማታ ማታ ያወርዱታል፣ ያበሩታል፣ ይሰቅሉታል፣ ሲያልቅ እንደገና ያወርዱታል። ሰም ውድ ስለሆነ ደሃው የሞራ ሻማ ነበር የሚያነደው፣ ሽታውን አስቡት። ስለዚህ ብዙ ሻማ አንድ ላይ ማብራት ሀብትን ማሳያ ሆነ። እኛስ ለድግስ ምን እናደርጋለን? ያው ነው።

ከዚያ መስታወቱ መጣ። በ1674 ጆርጅ ራቨንስክሮፍት የሚባል እንግሊዛዊ እርሳስ የተቀላቀለበት መስታወት ፈቃድ አወጣ። እርሳስ ሲገባበት መስታወቱ ይከብዳል፣ ለመቁረጥ ይለሳለሳል፣ ዋናው ነገር ደግሞ ብርሃኑን አብዝቶ ያጥፈዋል። አንድ ነጭ ብርሃን ይገባል፣ ቀስተ ደመና ሆኖ ይወጣል። አሥር ሰዓት ላይ በምዕራብ መስኮት በምትገባው የድሬ ፀሐይ ፊት አንዷን ጠብታ ያዟት፣ ግድግዳው ላይ ታዩታላችሁ። ነጋዴው "ክሪስታል ነው" ካላችሁ ደግሞ በእጃችሁ ያዙት። መስታወት ቀዝቃዛና ከባድ ነው፣ በጥፍር ሲመታ ይጮሃል። ፕላስቲክ ግን ወዲያው ይሞቃል፣ ድምፁም ደንቆሮ ነው። አሸዋ ገበያ ላይ ይቺን በማወቄ ስንት ደንበኛ ገንዘቡን አትርፏል።

ሻማው ጠፍቷል፣ ስሙ ግን ቀርቷል። በነገራችን ላይ የብርሃን መለኪያውም "ካንዴላ" ነው የሚባለው፣ አንድ ካንዴላ በግምት የአንድ ሻማ ብርሃን ነው። አንድ ሻማ ዙሪያውን ሲያበራ ወደ 12 ሉመን ይሰጣል፣ ሉመን በሁሉም አቅጣጫ የሚወጣው ብርሃን ድምር ነው። ካርቶኑ ላይ 800 ሉመን የተጻፈበት አንድ ኤልኢዲ አምፖል ከ60 ሻማ በላይ ነው ማለት ነው። ይሄ አሥራ ሁለት ክንድ ያለው ሁሉም ሲበራ ከ700 ሻማ በላይ! የድሮ ንጉሥ የሚቀናበትን ብርሃን እናንተ ለንባብ ክበብ ታበራላችሁ። ብቻ ባለ 60 ዋቱን የድሮ አምፖል አትግዙ። አሥራ ሁለቱ 720 ዋት ይበላሉ፣ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ከሆኑ ግን ሁሉም ተደምረው 108 ዋት ናቸው። ቆጣሪው ያመሰግናችኋል።

አሁን ደግሞ አንድ የማፍርበትን ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሰው ቤት ትልቅ ሻንደሊየር ሰቀልኩ። ኮርኒሱ ጂብሰም ነበር። እኔ ፌሮ አልፈለግሁም፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን የኮንክሪት ሶሌታ አልበሳሁም፣ መንጠቆውን ጂብሰሙ ላይ አሰርኩና ሂሳቤን ተቀብዬ ሄድኩ። በሦስተኛው ሌሊት ወረደ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው ሳሎን አልነበረም፣ በድሬ ሙቀት ሁሉም ውጭ ኒም ዛፍ ሥር አንጥፎ ተኝቶ ነበር። ከኪሴ ከፈልኩ። እስከ ዛሬ ሶሌታውን ሳልበሳ አንድም ነገር አልሰቅልም። ፓሪስ በታላቁ ኦፔራ ቤት በ1896 የሻንደሊየሩ ሚዛን መጠበቂያ ክብደት ወድቆ ሰው ሞቷል፣ ስለዚህ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ኦማን ሄዳችሁ የሠራችሁ ካላችሁ ደግሞ መስከት ያለውን የሱልጣን ቃቡስ መስጊድ ታውቁታላችሁ። እዚያ ያለው 14 ሜትር ቁመት አለው፣ ከ8 ቶን በላይ ይመዝናል፣ 1,122 አምፖል አለው፣ ለጥገና የሚወጣበት ደረጃ ራሱ ውስጡ ነው። ያንን የሚጠግነውን ሰው ብቀናበት አይፈረድብኝም።

ቃሉ ከጣሪያም ወርዶ ሌላ ሥራ ይዟል። መጋላ ወርቅ ቤቶች እርከን እርከን ሆኖ የሚንጠለጠለውን ጉትቻ "ሻንደሊየር" ይሉታል፣ ይሄን ሴቶቹ ከኔ በላይ ያውቃሉ። ጦርነት ውስጥም ነበር። መሬት ተቆፍሮ ምሽግ መሥራት ካልተቻለ የእንጨት ማዕቀፍ ይቆማል፣ መሐሉ የጭራሮ እስር ይሞላበታል፣ ወታደር ከኋላው ይደበቃል። እሱ ሻንደሊየር ይባላል። በ1776 አሜሪካኖች ቦስተንን የያዙትን እንግሊዞች ሲከቡ መሬቱ በበረዶ ስለደረቀ ኮረብታ ላይ ይሄንኑ በአንድ ሌሊት ገጥመው አደሩ። ጠላት ሲነጋ አየው፣ ብዙም ሳይቆይ ከተማዋን ለቆ በመርከብ ሄደ።

የሐራጁ ደግሞ ለኛ ለገበያ ሰዎች ይጥማል። ትልልቅ የሥዕል ጨረታ ቤቶች ውስጥ ማንም ዋጋ ሳይጨምር አጫራቹ ወደ ጣሪያ አየት አድርጎ "እዚያ ጋ ጨመሩ!" ይላል። የጨመረው ሻንደሊየሩ ነው! "የሻንደሊየር ጨረታ" ይሉታል። ዋጋው ሻጩ ከዚህ በታች አልሸጥም ካለው እስኪደርስ ድረስ የሚፈቀድባቸው አገሮች አሉ። ቀፊራ ገበያ ላይ "አሁን አንድ ሰው በዚህ ዋጋ ጠይቆኝ ሄደ" የሚላችሁ ነጋዴ ያ ሰው የት እንዳለ ጠይቁት። ጣሪያውን ያያል።

የዓይን ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና ጊዜ ዓይን ውስጥ ተተክላ የምታበራ ትንሽ መብራት አለቻቸው፣ ሻንደሊየር ትባላለች፣ ሁለቱንም እጃቸውን ነጻ ታደርግላቸዋለች። አንጎላችን ውስጥም ሻንደሊየር የሚባል ሕዋስ አለ፣ ቅርንጫፉ እንደ ሻማ ስለሚደረደር ነው፣ አንዱ ብቻውን በመቶ የሚቆጠሩ ሌሎች ሕዋሶችን ይነካል። ኳንተም ኮምፒውተር ሲሳል የምታዩት ያ ወርቃማ የሚንጠለጠል ነገርም በዚሁ ስም ነው የሚጠራው፣ እሱ ግን መብራት ሳይሆን ፍሪጅ ነው፣ ታችኛው ጫፉ ከዜሮ በታች ወደ 273 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል። ለድሬ ሰው ይሄ ብቻ ሕልም ነው።

ከዚህ ወደ ሐረር ስትወጡ ደንገጎ ዳገት ላይ ቁልቋሉን እዩት። ክንዶቹን ወደ ላይ ቆልመም አድርጎ የዘረጋ። የአንዱ ዓይነት ሳይንሳዊ ስሙ "ኢዩፎርቢያ ካንዴላብረም" ነው። ካንዴላብረም የሻማ መያዣ ነው። ያቺው ካንዴላ እዚያም ገደል ላይ ቆማ ትጠብቃችኋለች።

ልጅቷ የጠየቀችኝን አልረሳሁም፣ በአማርኛ ምን ይባላል ነበር ጥያቄዋ። እኔ ቢሮ ላይ ደረሰኝ ስጽፍ "ሻንደሊየር" እላለሁ፣ ደንበኛ እንዳይደናገር። ቤቴ ግን ከዚያች ቀን ወዲህ ቀንዲል ነው የምለው። ልጆቼ ይስቁብኛል።

በሉ እንግዲህ፣ ሦስቱን አምፖል ኪሴ ውስጥ ይዣቸው መጥቻለሁ። ማብሪያ ማጥፊያውን አንድ ሰው ያጥፋልኝ፣ ሁለት ጎበዝ ደግሞ መሰላሉን ይያዝልኝ። ከሥሩ የተቀመጣችሁ ወንበራችሁን ትንሽ ሳብ አድርጉ፣ ይሄን የሰቀልኩት እኔ አይደለሁም።