የሟች ሬዲዮ ዋጋው ስንት ነው?

(በግንቦት ወደ ዜንያ፣ ኦሃዮ ለሚጓዙ የአማተር ሬዲዮ ወዳጆች በተዘጋጀ የእራት ምሽት የተደረገ ንግግር)

አባቶችና እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ ሲጠሩኝ «ዘንድሮ ዜንያ ላይ ምን እንግዛ፣ ምን እንሽጥ የሚለውን ንገረን» ነው ያሉኝ። እነግራችኋለሁ። ስለ አሮጌ ሬዲዮ ማውራት ሰልችቶኝ አያውቅም። ከዚያ በፊት ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሆዴን ሲበላኝ የከረመ አንድ ጉዳይ አለ። የመጣሁት ለእሱ ነው።

እዚህ ቤት ያለን ሰዎች እንተዋወቃለን። አንዳንዶቻችን ብየዳ የለመድነው አዲስ አበባ ሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ነው። ሌሎቻችን በጦር ሠራዊቱ መገናኛ፣ ሌሎቻችን በቴሌ። በደርግ ጊዜ ማሰራጫ ሬዲዮ ቤቱ የተገኘበት ሰው ምን ሊደርስበት እንደሚችል የምታስታውሱ አላችሁ። እዚህ አገር መጥተን፣ ፈተናውን አልፈን፣ የራሳችን የጥሪ ምልክት፣ በአየር ላይ የምንታወቅበት መለያ፣ ሲደርሰን እንባ የተናነቀን አለን። ስለዚህ በግልጽ ብናገር አትቀየሙኝም።

ለአዲሶቹና አብረው ለመጡ ቤተሰቦች ትንሽ ላስረዳ። ሃም ማለት ፈቃድ አውጥቶ ለፍቅሩ ሲል በሬዲዮ ከሌሎች ጋር የሚነጋገር አማተር ነው። ሃምቬንሽን የሚባለው ትልቁ የሃሞች ገበያና ጉባኤ የተጀመረው በ1952 ዴይተን ከተማ ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምናገረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከ1964 ጀምሮ ሃራ አሬና በሚባለው አዳራሽ ኖረ። አዳራሹ በ2016 ሲዘጋ፣ በ2017 ዜንያ ወዳለው የግሪን ካውንቲ የትርዒት ግቢ ተዛወረ። የዚያን ዓመት ዝናብ፣ እዚያ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ሰው በጭቃ ውስጥ ትራንስፎርመር ተሸክሞ ይሄድ ነበር። ዛሬ ከ30 ሺህ በላይ ሰው የሚመጣበት ዓመት አለ። አዳራሾቹ ውስጥ አዲስ ዕቃ ይሸጣል። ለእኛ ግን ዋናው ነገር ውጭ ሜዳው ላይ ያለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው።

ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው እዚያ ሜዳ ላይ አይደናገርም። ብረቱ፣ ሽቦው፣ አምፖል የሚመስለው የአሮጌ ሬዲዮ ቱቦ፣ የተፈታታው ሬዲዮ፣ ሁሉም ተዘርግቷል። ሰው ይጎነበሳል፣ ያገላብጣል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ትቶ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ልዩነት ግን አለ። ምናለሽ ተራ ላይ ሻጩ ዕቃውን ከገዢው በላይ ያውቀዋል። ዜንያ ላይ ግን ከዓመት ዓመት እየበዛ የመጣው፣ ስለሚሸጠው ነገር ምንም የማያውቅ ሻጭ ነው።

ለምን? የዕቃው ባለቤቶች እየሞቱ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በልጅነታቸው ፈቃድ ያወጡ፣ ኮሊንስና ድሬክ የሚባሉትን ሬዲዮዎች እየገዙ፣ ሂዝኪት የሚባለውን ተፈታቶ የሚሸጥ ሬዲዮ እየገጣጠሙ ያደጉ ሰዎች እያለፉ ነው። ምድር ቤታቸው እስከ ጣሪያ ሞልቷል። ሚስት ስሙን አታውቀውም። ልጆች ቤቱን ለመሸጥ ይቸኩላሉ። ታዲያ የሟቹን ዕድሜ ሙሉ መኪና ላይ ጭነው ወደ ሃምፌስት፣ ማለትም ወደ ሃሞች ገበያ፣ ያመጡታል።

አምና ዓርብ ጠዋት፣ ገና በደንብ ሳይነጋ፣ አንዲት አሮጊት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር አንድ ተጣጣፊ ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ልጁ አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ጠረጴዛው ላይ የሞርስ ቁልፍ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ የተሞሉ የሎግ ደብተሮች፣ ማለትም ከማን ጋር እንደተነጋገሩ የተመዘገበባቸው፣ አሉ። የጫማ ካርቶን ሙሉ የኪውኤስኤል ካርድም አለ፤ ሃሞች መነጋገራቸውን ለማረጋገጥ በፖስታ የሚላላኩት ካርድ ነው። ካርቶኑን ሳገላብጥ ምን አገኘሁ? ከአስመራ የተላከ ካርድ። የጥሪ ምልክቱ ኢቲ3ዩኤስኤ፣ አስመራ በነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ በቃኘው ጣቢያ፣ አሜሪካውያን ይሠሩበት የነበረው። እኚህ ሰው ወጣት ሳሉ ኦሃዮ ተቀምጠው ከእኛ ምድር ጋር አውርተዋል። ለእናትየው «ይሄ የመጣው ከኛ አካባቢ ነው» አልኳቸው። ሳቁ። «ሌሊት ሌሊት እያወራ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር» አሉኝ። ልጁ ካርዱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው። አስመራ የት እንደሆነች ጠየቀኝ።

መሃል ላይ ደግሞ ሬዲዮው አለ። ኮሊንስ ኬደብሊውኤም-2ኤ። ክቡ አርማ ያለው፣ ማለትም ሰብሳቢዎች ይበልጥ የሚፈልጉት የኋለኛው ምርት። የኃይል ሣጥኑ አብሮት አለ። መመሪያ መጽሐፉ አለ። ፊቱ ላይ ጭረት የለም። ለማታውቁት፣ ኬደብሊውኤም-2 በ1959 ሲወጣ መቀበያና ማሰራጫን በአንድ ሣጥን የያዘ፣ የአሜሪካ ጦር ሳይቀር የተጠቀመበት ዕቃ ነው። እናትየው ወረቀት ለጥፈውበታል። «ሁሉም 150 ዶላር» ይላል።

ሌላ ጠረጴዛ ላይ የምፈልገው ነገር ነበረኝና ትንሽ ፈቀቅ አልኩ። ስመለስ ሬዲዮው የለም። የገዛው የኛ ሰው ነው። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ እዚህም የለም። 150 ዶላር በዛብኝ ብሎ፣ «ይሥራ አይሥራ አይታወቅም፣ ያረጀ ነው፣ ማንም አይፈልገውም» ብሎ፣ በ120 ወሰደው። ቀትር ላይ የራሱ ጠረጴዛ ላይ 1,400 ዶላር ተጽፎበት አየሁት። እዚያው ሜዳ ላይ ነው! እናትየው ለምሳ ብድግ ቢሉ በፊቱ ነው የሚያልፉት።

ምሳ ላይ ታሪኩን እንደ ጀብዱ አወራው። ትከሻውን መታ መታ ያደረጉት ነበሩ። እኔ ያኔም ነግሬዋለሁ፣ ዛሬም እናንተ ፊት እናገራለሁ። ይሄ ንግድ አይደለም። ከሐዘን ቤት ዕቃ ማውጣት ነው!

መልሱን አውቀዋለሁ። «ገበያ ነው፤ ዋጋውን ያወጡት እሳቸው ናቸው» አለኝ። ሌላው ደግሞ «እኔ ይሄን ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ትርፉ የዕውቀቴ ደመወዝ ነው» ይላል። በሁለተኛው ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። የሞተ ሬዲዮ ገዝተህ፣ ክረምቱን ሙሉ ተቀምጠህ ካፓሲተሮቹን፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ክፍሎች፣ ቀይረህ፣ ቱቦዎቹን ለክተህ፣ አስተካክለህ በእጥፍ ብትሸጥ ሐላልህ ነው። የላብህ ነው። ዕቃውን ከሚያውቅ ነጋዴ ጋር እስኪመሽ ብትከራከርም ማንም አይወቅስህም። እሱም አይለቅህም። ነገር ግን ከጠዋት እስከ ቀትር ውስጥ አንድ ብሎን እንኳ ያልፈታ ሰው፣ ደመወዙ የምን ሥራ ነው? ዝም የማለት? «ማንም አይፈልገውም» ማለት ደግሞ ዝምታ እንኳ አይደለም። ውሸት ነው። እያወቁ፣ ለማያውቅ ሰው፣ ለገንዘብ የተነገረ ውሸት!

ያ ልጅ ስልክ አለው። ማታ የሬዲዮውን ስም ጽፎ ዋጋውን ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። የአያቱን ዕቃ የገዛው ፈገግተኛ ሰው ምን እንዳደረገ ያውቃል። ጠዋት ካርዱን ይዞ አስመራ የት ናት ያለው ልጅ ነው። እኛ በየስብሰባው «ወጣት የለም፣ የትርፍ ጊዜ ሙያችንን የሚወርስ ጠፋ» እያልን እናለቅሳለን። መጥቶልን ነበር እኮ። ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ነበር።

ምን ይደረግ ነበር? «እናቴ፣ ይሄ ከዚህ ብዙ ይበልጣል» ማለት ነው። በቃ። ብዙ ጊዜ እንዲህ የተባለ ቤተሰብ «እንግዲያውስ አንተ ውሰደው፣ የሚገባውን ንገረን» ይላል። በተመጣጣኝ ዋጋ ትገዛለህ፣ ቀሪውን ዕቃም ቤት ወስደው ያሳዩሃል። ከኛው መካከል አንድ ታላቅ ወንድማችን አለ። የአንድ ሟች ዕቃ ላይ ሁሉ ትክክለኛውን ዋጋ ጽፎ ለቤተሰቡ ሰጥቷል። ሲገባኝ፣ ትክክለኛው ሃም እሱ ነው። ስሙ እንዲጠራ አይፈልግም እንጂ ብጠራው ደስ ባለኝ።

አሁን ወደ ሻጭነታችን ልምጣ፤ እዚያም ጉድ አለ። «አልተሞከረም» የሚለውን ወረቀት ታውቁታላችሁ። ሬዲዮውን ቤቱ ሰክቶ፣ ጭስ ሲወጣ አይቶ፣ ነቅሎ፣ «አልተሞከረም» ብሎ የሚጽፍ አለ። የያኤሱ ኤፍቲ-101 ሬዲዮ የመጨረሻ ቱቦዎቹ፣ ለማሰራጨት ኃይል የሚሰጡት፣ መድከማቸውን እያወቀ፣ ምትካቸው 6ጄኤስ6ሲ የሚባለው ቱቦ ዛሬ እንደ ልብ እንደማይገኝ እያወቀ፣ «ጥሩ ይሰማል» ብሎ የሚሸጥ አለ። አዎ ይሰማል። መቀበያው ነው የሚሰማው! ገዢው ለማሰራጨት ሲሞክር ነው የሚያውቀው።

ከሁሉ የባሰው አደጋውን መደበቅ ነው። ሃሊክራፍተርስ ኤስ-38ን ውሰዱ። በ1946 የወጣ፣ ርካሽ፣ ቆንጆ፣ ጀማሪ ሲያየው የሚወደው መቀበያ ነው። የኃይል ትራንስፎርመር የለውም። የውስጥ ብረቱ ከግድግዳው መስመር ጋር በቀጥታ ሊገናኝ ይችላል፤ ሶኬቱ እንዴት እንደተሰካ ነው የሚወስነው። ከውጭው ሣጥን የሚለየው ትንሽ መከላከያ ብቻ ነው። ያ ካረጀ ሣጥኑ ራሱ ይነዝራል። ይሄን ሳትነግር ለልጅ የምትሸጥ ሰው፣ እባክህ ዕቃህን ሰብስበህ ቤትህ ግባ። የዚያ ኮሊንስ የኃይል ሣጥንም ወደ 800 ቮልት ነው የሚሰጠው። ተነቅሎም ቢሆን ካፓሲተሩ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ይሄ በነዘረኝ የሚታለፍ አይደለም፤ ይገድላል።

ቃል የገባሁትን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ልናገር።

ለመጀመሪያ ጊዜ አሮጌ ዕቃ ለምትገዙ፣ ኬንዉድ ቲኤስ-520 ጥሩ መጀመሪያ ነው። የመጨረሻ ቱቦዎቹ የ6146 ቤተሰብ ናቸው፤ ምትክ ማግኘት ይቻላል። ድሬክ ካገኛችሁ አትለፉ። ፋብሪካው እዚያው ዴይተን አጠገብ ማያሚስበርግ ነበር፤ አካባቢው ላይ ዕቃውን የሚያውቁ ሰዎች አሁንም አሉ። ሂዝኪት ስትገዙ ክዳኑን አስከፍቱ። ፋብሪካ አልገጣጠመውም፤ የሆነ ሰው ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ነው የገጣጠመው። ብየዳው የሚያብለጨልጭና ንጹሕ ከሆነ ግዙ። የተዝረከረከ ከሆነ ዋጋው ምንም ቢቀንስ ተዉት። ለዓመታት ያልተሰካ ሬዲዮ እዚያው ሜዳ ላይ «ሰክተህ አሳየኝ» አትበሉ። የደረቀ ካፓሲተር ሙሉ ኃይል በአንዴ ሲገባበት ትራንስፎርመሩን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ቤት ወስዳችሁ፣ መጀመሪያ ውስጡን አይታችሁ፣ በቫሪያክ፣ ቮልት ከፍና ዝቅ በሚያደርገው መሣሪያ፣ ኃይሉን ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉት።

ወደ አገር ቤት መላክ የምታስቡ አላችሁ። አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ አለ፤ ተማሪዎችም አሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን አስቀድማችሁ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ጠይቋቸው። እዚያ ኃይሉ 220 ቮልት ነው፣ ፈቃድና ጉምሩክ አለ። የምንጥለውን ሳይሆን እኛ ራሳችን የምንጠቀምበትን ነው መላክ ያለብን።

አሁን የምጠይቃችሁ ነገር አለ። ዘንድሮ ሜዳው ላይ አራት ጠረጴዛ ተከራይተናል። በእኛ ጠረጴዛ ላይ የሚወጣ ዕቃ ሁሉ ወረቀት ይለጠፍበት። የሚሠራው፣ የማይሠራው፣ የተቀየረው፣ የሚያሰጋው ይጻፍ። «አልተሞከረም» የሚል ወረቀት እኛ ጋ አይለጠፍ። ሁለተኛው፣ ከጠረጴዛዎቹ አንዱ ባዶ ይሁን። «የሟች ዕቃ ይዘው ለመጡ ቤተሰቦች ዋጋ በነጻ እንገምታለን» ብለን በእንግሊዝኛ እንጻፍበት። ገማች ሆኖ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ የገመተውን ዕቃ በዚያ ቀን አይግዛ። ይሄኛው ላይ ድርድር የለኝም።

ሰዓቱ የሚከፋፈልበት ወረቀት በሩ አጠገብ፣ ቡናው የሚፈላበት ጋ ነው። ዓርብ ጠዋት ገና ሰው አልተመዘገበበትም። እባካችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁን ጻፉ። አመሰግናለሁ።