አልበላም ያለ እባብ

(በደሴ ለእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎችና ለሥነ ሕይወት ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

ሰላማችሁ ይብዛ።

እባብ ቤት ውስጥ ማኖር እኛ ዘንድ እንግዳ ነገር ነው። ሰዉ እባብ ሲያይ ዱላ ይፈልጋል እንጂ ራት አያቀርብለትም። ያም ሆኖ ለማስተማሪያ በላቦራቶሪ የተቀመጠ፣ ከሰው እጅ ተወስዶ ወደ ዱር እስኪመለስ የሚጠበቅ ወይም በፈቃድ ከውጭ የመጣ እባብ ጠባቂ አያጣም። ጠባቂውም ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ «ሦስት ሳምንት ሆነው፤ አልበላም አለ፤ ምን ላድርግ?» ዛሬ የምንመልሰው ይህንኑ ነው። አጭሩ መልስ፦ አብሽሩ፤ ከዚያ ቴርሞሜትር አምጡ።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ማሳሰቢያ አለን። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ በአዋጅ የተከለከለ ነው፤ ከሐርቡ ወይም ከባቲ ቆላ ዘንዶ አንስቶ ደሴ ይዞ የሚወጣ ሰው በሕግ ይጠየቃል። ሁለተኛው፣ የምንናገረው መርዝ ስለሌላቸው ብቻ ነው፦ ስለ ዘንዶ፣ ከምዕራብ አፍሪካ ስለሚመጣውና ሲፈራ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለለው ትንሹ ፓይተን፣ እንዲሁም ስለ ቡናማው የቤት እባብ። እፉኝትን በዚህ ምክር አትንኩት።

አሁን ወደ ሙቀቱ። እባብ ከገዛ ሰውነቱ በቂ ሙቀት አያመነጭም፤ የተኛበት ወለል የሰጠውን ሙቀት ይወስዳል። የሆዱ አሲድና ፈሳሽ አይጥን ከነአጥንቱ የሚያሟሙት ሰውነቱ ሲሞቅ ነው። ሲቀዘቅዝ የተዋጠው ምግብ ሳይፈጭ ሆድ ውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ በርዶት ምግብ የሚገፋ እባብ ታሞ ላይሆን ይችላል፤ ራሱን እየጠበቀ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ 1,850 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ኮምቦልቻ ደህና ሲበላ የነበረ እባብ ደሴ ሲወጣ አፉን ቢዘጋ ምን ይገርማል? ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ተኝቶ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ ያልሞቀ ክፍል 15 ዲግሪ ላይ ቢገኝ የተለመደ ነው። ለፓይተን ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ከ24 ዲግሪ መውረድ የለበትም።

የሚፈለገው ልክ ይህ ነው። ለፓይተንም ለዘንዶም የሳጥኑ አንድ ወገን ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ ሌላው ወገን ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ይሁን። የቤት እባብ ቀለል ይልለታል፤ ሙቁ ወገን ከ28 እስከ 30፣ ቀዝቃዛው 23 ቢሆን ይበቃዋል። ሁለት ወገን ያስፈለገው እባቡ ራሱ እየተሳበ ሙቀቱን እንዲመርጥ ነው። የማሞቂያ ምንጣፉ የወለሉን ሲሶ ብቻ ይሸፍን፤ ሙሉውን ከሸፈነ መሸሻ አይኖረውም። ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን በልኩ የሚይዝ መቆጣጠሪያ፣ የሌለው ምንጣፍ ከ40 ዲግሪ አልፎ የሆድ ቆዳ ያቃጥላል፤ እባብ ደግሞ ከታች ሲቃጠል ቶሎ አይነሳም። መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ቴርሞሜትር አትመኑት፤ የሚነግራችሁ የመስታወቱን ሙቀት ነው። ገመድ ያለውን ዲጂታል ግዙና ጫፉን እባቡ በሚተኛበት ወለል ላይ፣ መደበቂያው ውስጥ አስቀምጡት። ከዚያ ማታ አንድ ጊዜ፣ ጎህ ሳይቀድ አንድ ጊዜ አንብቡ። የቀኑን ሙቀት ብቻ አይቶ «ሙቀቱ ደህና ነው» የሚል ጠባቂ ብዙ ነው፤ ችግሩ የሚገኘው ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሙሉ፤ እጅ የሚችለው ይሁን። በወፍራም ጨርቅ ሁለት ጊዜ ጠቅልሉና በአንድ ወገን አስቀምጡ፤ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ለውጡ። ሳጥኑን በብርድ ልብስ አልብሱ፤ የአየር ቀዳዳው ግን አይደፈን። ከሰል በፍጹም አታስጠጉ፤ የከሰል ጋዝ እናንተንም እባቡንም ይገድላል። ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥም ሳጥኑን አታኑሩ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ዕጣኑ ሲጨስ ለኛ ደስታ ነው፤ ለእባብ ሳንባ ግን ሸክም ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሳምንት ምግብ አትስጡ። በልቶ በማግሥቱ የበረደው እባብ የዋጠውን ይተፋል፤ ያ ደግሞ ከጾሙ የከፋ ነው።

ከሙቀቱ ቀጥሎ መደበቂያ። «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» የሚለው ተረት ስለ ሰው ተንኮል የተነገረ ቢሆንም የእባቡን ጠባይ ግን በደንብ ይዞታል፤ እባብ ካብ ይፈልጋል። ባዶ መስታወት ሳጥን ውስጥ አራት ሰው እያፈጠጠበት አይበላም። የተሰበረ ማሰሮ ገልብጣችሁ፣ ስል ጠርዙን አሻሽታችሁ፣ አንዱን በሙቁ ሌላውን በቀዝቃዛው ወገን አስቀምጡ። ጠባብ ይሁን፤ እባቡ ተጠቅልሎ ሲገባ ጀርባው ጣሪያውን ቢነካ ይወዳል። የሳጥኑን ሦስት ጎን በካርቶን ሸፍኑ። አዲስ የመጣ እባብ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ቢቻል ሁለት፣ አይነካ፤ ውኃ ከመለወጥ በቀር እጅ አይግባበት።

ቆዳውን ሊጥል ሲልም አይበላም። ዓይኑ ወተት የፈሰሰበት ይመስል ወደ ሰማያዊነት ይለወጣል፤ ያኔ በደንብ አያይም፣ ይቆጣልም። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። እርጥበቱን ወደ 70 በመቶ ከፍ አድርጉና ተዉት። ወንዱ በእርቢ ወቅት፣ ሴቷ እንቁላል ስትታቀፍ ለሳምንታት ይጾማሉ፤ ያም ተፈጥሮ ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ካልበላ ወደ ምግቡ እንምጣ። በተረት አርዌ ለሚባለው ዘንዶ ሕዝቡ ፍየልና ወተት ይገብርለት ነበር ይባላል። ፍየሉን እመኑ፤ ወተቱን ተዉት፤ የእባብ ሆድ ወተት አይፈጭም። ምግቡ አይጥ ነው፤ ውፍረቱም ከእባቡ ወገብ ባይበልጥ ይመረጣል። መቶ ግራም የሚመዝን ልጅ እባብ በሳምንት ከ10 እስከ 15 ግራም የምትመዝን አይጥ ይበቃዋል። አንድ ኪሎ ተኩል የደረሰ ከ75 እስከ 105 ግራም በየሦስትና አራት ሳምንቱ ይበላል። በየሳምንቱ ትልቅ አይጥ ሲሰጠው የኖረ ወፍራም እባብ ድንገት ቢያቆም አትደናገጡ፤ ጠግቧል። ከጓዳ የተያዘ አይጥ አታብሉ፤ የአይጥ መርዝ በልቶ ወይም ጥገኛ ትል ተሸክሞ ሊሆን ይችላል።

አቀራረቡን በጥንቃቄ ስሙ፤ ብዙው የሚበላሸው እዚህ ነው። ከፍሪዘር የወጣውን አይጥ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ማታ በፌስታል ጠቅልላችሁ 40 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አቆዩት። ማይክሮዌቭ አይሞከርም፤ ውስጡ ይበስልና ሆዱ ይፈነዳል። ፀጉሩን አድርቁ፣ ሆዱን ዳስሱ፤ መሐሉ አሁንም በረዶ ከሆነ መልሱት። ፓይተንና ዘንዶ ከንፈራቸው ላይ ሙቀት የሚለዩ ጉድጓዶች አሏቸው፤ ስለዚህ ከክፍሉ አየር የሞቀ ራስ ካላገኙ ምግብ መሆኑን አይቀበሉም። መብራቱን ቀንሱ። በ30 ሳንቲ ሜትር ወረንጦ አይጡን ከጀርባው ይዛችሁ ራሱን ወደ እባቡ አድርጉ፤ አፍንጫው ላይ አትግፉት፤ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጋችሁ በዝግታ አንቀሳቅሱት። ምላሱ ቶሎ ቶሎ መውጣት ይጀምራል። ከዚያ ምላሱ ይቆማል፤ አንገቱ ወደ ኋላ ይታጠፋል። እዚህ ጋ እጃችሁ አይንቀጥቀጥ። ራሱን ከመለሰና ከሸሸ ግን አታሳድዱት፤ አይጡን መደበቂያው አፍ ላይ ትታችሁ ውጡ፤ ጠዋት ካልተበላ ጣሉት። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ሳያልፍ ደግማችሁ አታቅርቡ። በየቀኑ ምግብ የሚደቀንበት እባብ ጭራሽ አይጥ ሲያይ መሸሽ ይለምዳል።

አሁንም እምቢ ካለ አይጡን ከአንድ ቀን ጫጩት ላባ ጋር አሻሹት፤ ወይም የራስ ቅሉን በመርፌ ወግታችሁ ሽታው እንዲወጣ አድርጉ። በሕይወት ያለ አይጥ ትቶ መሄድ ግን ስንፍና ነው፤ ያልተራበ እባብ ጀርባው ተበልቶ ሲገኝ ያያችሁ ታውቁታላችሁ።

መቼ ነው መስጋት ያለብን? ለዚህ ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛንና ክዳን ያለው ባልዲ ያስፈልጋል። በየሳምንቱ አንድ ቀን መዝኑና ጻፉ። 1,200 ግራም የነበረ 1,080 ከደረሰ አሥር በመቶ ጎድሏል፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ክብደቱን የያዘ ትልቅ ፓይተን ወራት ቢጾም አይጎዳም፤ ገና የተፈለፈለ ግን ከአንድ ወር በላይ አይጠበቅም። ክብደቱ ሳይቀንስም አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ፣ አረፋ ከታየ፣ ድዱ ላይ እንደ አይብ ያለ ነገር ካለ፣ በቅርፊቱ መሐል ጥቁር ነጥብ የሚመስል መዥገር ከተገኘ ቀጠሮ አትጠብቁ።

የእንስሳት ሐኪሞች፣ ይህን ለእናንተ። ዓይነ ምድሩን ሳታዩ የትል መድኃኒት አትስጡ። ለከብት በእጃችሁ ያለው አይቨርሜክቲን አንድ በመቶ ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይዟል። በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ብትሉ ለ1 ኪሎ እባብ የሚደርሰው 0.02 ሚሊ ሊትር ነው። በተለመደው ሲሪንጅ ይህን መለካት አይቻልም፤ ሳታቀጥኑ አንድ ጠብታ ብትጨምሩ ከሁለት እጥፍ በላይ ልትሰጡ ትችላላችሁ። በኳስ ፓይተን ላይ ደግሞ የነርቭ ጉዳት የታየበት መድኃኒት ነው፤ ሌላ ምርጫ ካለ ሌላውን ያዙ። አስገድዶ ማብላትም የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ የመተንፈሻው ቀዳዳ ከምላሱ በላይ፣ በአፉ ወለል ላይ ነው ያለው፤ ቱቦው እዚያ ከገባ ሳንባው ይሞላል። ከዚያ በፊት ውኃ ይቅደም። ጀርባው የማይሰጥም ጥልቀት ባለው፣ 29 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ 20 ደቂቃ አቆዩት፤ እየጠበቃችሁት።

ከበላ በኋላ 48 ሰዓት አይነካ። ከተፋ ሁለት ሳምንት አሳርፉት፤ ቀጥሎ የቀድሞውን ግማሽ የምታክል አይጥ ስጡት።

እነሆ ጥጉ ላይ ያለው ሳጥን ባዶ ነው፤ ማሞቂያው ግን ከጠዋት ጀምሮ በርቷል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ኑና የቴርሞሜትሩን ጫፍ በሁለቱም ወገን አስቀምጡ፤ ያነበባችሁትን ሰሌዳው ላይ ጻፉ። አንደኛው መደበቂያ ሆን ተብሎ የተሳሳተ ቦታ ላይ ተቀምጧል፤ የቱ እንደሆነ ስታገኙት ንገሩን።