ወር ይቆያል ወይ?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ባለፈው ክፍል ቃል የገባሁላችሁ እንግዳ በሚቀጥለው ይመጣል፤ እኔ ግን የመኪናዬን፣ የዲኤክሷን ነገር ሳልናገር ወደ ሌላ ጉዳይ ማለፍ አልቻልኩም። «አሮጊቷ እንዴት ከረመች?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ ሁሉ፣ ደኅና ናት፤ የፊት እግሯ ታድሶ ከጋራዥ ከወጣች 11 ቀኗ ነው። ከዚያ ጋራዥ ገና ያልወጣሁት እኔ ነኝ።

ከመስቀል ጀምሮ ውዝዋዜዋን ለሚያበርደው ሾክ አብዞርበር ስቆጥብ እንደነበር ታውቃላችሁ። ኮብልስቶን ላይ ስትወጣ መሪው እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቆማ ሳለች አፍንጫዋን ተጭኜ ስለቃት ሦስትና አራት ጊዜ ትወዛወዛለች፤ ደኅና ሾክ ያላት መኪና ግን አንዴ ተነሥታ ትረጋለች። የሾኩም ገላ ባፈሰሰው ዘይት ርሶ፣ አቧራ ተጋግሮበት ነበር። ስለዚህ ሾኮቹ አልቀዋል ማለቴ ስሕተት አልነበረም። አዲስ አበባ የሚመላለስ ዘመዴ ከሶማሌ ተራ ሁለት አዲስ የፊት ሾክ አመጣልኝ፤ የቆጠብኩትም ገንዘብ በዚያው አለቀ። አንዱ ብቻ ቢያፈስ እንኳ ግራና ቀኙ አብረው ነው የሚቀየሩት፤ አለበለዚያ መኪናዋ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ልታደላ ትችላለች።

ማክሰኞ ጠዋት ነበር፤ የደሴው ተራራ ጦሳ ጉሙን ገና አልገፈፈም። ጋሼ መካኒኩ ሁለቱን ካርቶኖች አዩና ሳይከፍቷቸው ወደ ጎን አደረጓቸው። ክሪክ አስገብተው የፊቱን ግራ ጎማ ከመሬት አነሡት፤ ጎማው ተንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያ ረጅም ብረት በታችኛው ክንድና በጎማው መያዣ መካከል ሰክተው «ጣትህን እዚህ አድርግ» አሉኝ። አደረግሁ። ብረቱን ወደ ላይ ገፋ ሲያደርጉት ከጣቴ ሥር አንድ ነገር የስንዴ ፍሬ ያህል ተነሥቶ ተቀመጠ፤ «ቀጭ» አለ። ደገሙት፤ ደግሞ «ቀጭ» አለ። ክንዱን ከጎማው መያዣ ጋር የሚያያይዘውን ቦል ጆይንት የሚሸፍነው ላስቲክ ተቀዷል፤ ውስጡ የነበረው ግራሶ ደርቆ ከአሸዋ ጋር ተለውሷል።

«በዚህ ነው ሐረጎን የምትወርደው?» አሉኝ፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ማለታቸው ነው።

«አዎ ጋሼ» አልኩ። ቀጥዬ የተናገርኩት ነው እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ። «ሾኮቹን ዛሬ እንግጠማቸው። ቦል ጆይንቱ ወር ይቆያል ወይ?» አልኳቸው።

አልመለሱልኝም። ጨርቅ አንሥተው እጃቸውን በየጣቱ መጥረግ ጀመሩ። በጋዝ ብሎን የሚያጥበው ልጅ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ። ጋሼ አውራ ጣታቸውን ጨርሰው ጨርቁን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና «እናትህ ደኅና ናቸው?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት አልነግራችሁም። ጋሼ እናቴን ያውቋታል፤ ሁልጊዜም ይጠይቁኛል። ልማድ ሊሆን ይችላል። መልስም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ማክሰኞ 3 ቀን ቀደም ብሎ፣ ቅዳሜ፣ እናቴን ለለቅሶ ኮምቦልቻ ወስጃት እንደነበር አላወቁም፤ ወይም እኔ አልነገርኳቸውም። ሐረጎን ስንወርድ፣ አንዱ መታጠፊያ ላይ ጉድጓድ መትቼ ያ «ቀጭ» ሲሰማ፣ «ምንድን ነው እሱ?» ብላኝ ነበር። ከታች የጫነ መኪና ጥርስ ነክሶ ይወጣል፤ በስተቀኜ ገደል ነው። እኔም «አብሽሪ እማዬ፣ የድሮ መኪና ድምፅ ነው» አልኳት። መቁጠሪያዋን ይዛ ዝም አለች።

ለማታውቁት ላስረዳ፤ እኔም በደንብ የገባኝ ከዚያ ወዲህ ነው። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። ሾኩ ክብደት አይሸከምም፤ ውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ የሞላውን ውዝዋዜ ያበርዳል። ስለዚህ «መኪናዬ ዝቅ አለች፣ ሾክ ልቀይር» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የደከመውን ሞላ ትቶ ሌላ ነገር እየገዛ ነው። ሾክ ሲያልቅ ጎማው መሬት ላይ በደንብ አይቀመጥም፤ ፍሬን ይረዝማል፤ የጎማው ጥርስ በየቦታው እየተጎረደ ይበላል። ይህ ሁሉ ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። ቦል ጆይንት ግን ጎማውን ከታች አስሮ የሚይዝ ነገር ነው፤ ከወለቀ ጎማው ወደ ውጭ ይተኛል፣ መሪውም ከእጅ ይወጣል። ኪሱ የሳሳ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የሚይዘውን ነው፤ ቦል ጆይንቱን፣ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን ታይሮድ፣ ከዚያ ክንዱ የሚወዛወዝበትን የጎማ ቀለበት፣ ቡሹን። እኔ ግን የሚያንገጫግጨኝን አስቀደምኩ። ወይም ያስቀደምኩት የሚሰማኝን ነው… አላውቅም፣ ሁለቱ አንድ ይሁኑ አይሁኑ።

የቀረውን ለመግዛት የዕቁቡን ዳኛ ለምኜ ዕጣዬን ቀድሜ ወሰድኩ። ሁሉም አንድ ላይ ተሠራ፤ እግሩ አንዴ ከተፈታ ድጋሚ ለመፍታት የእጅ ዋጋ መክፈል አያስፈልግምና። ጋሼ ሞላውን በመጨመቂያው ግራና ቀኝ ጠፍረው ሲያጠብቁ ልጁን «ከፊቱ ዞር በል» አሉት፤ የተጨመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። የላይኛውን ዳዶ የፈቱት ሞላው ከመቀመጫው መላቀቁን በእጃቸው አረጋግጠው ነው። አንድ ነገር ደግሞ በጣም ወደድኩላቸው። የክንዱን ቡሽ ከገጠሙ በኋላ ብሎኑን አላጠበቁም። ጎማዎቹን መልሰው መኪናዋን መሬት ላይ አወረዷት፤ ልጁ አፍንጫዋን ጥቂት ጊዜ አወዛወዘ፤ ከዚያ ሥሯ ገብተው አጠበቁት። ክንዱ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መኪናዋ መሬት ስትነካ የቡሹ ጎማ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ እንደተጠመዘዘ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል። ስንት አዲስ ቡሽ በዚህ ምክንያት ብቻ ሳይከርም አልቋል! ያን ከጭቃው ላይ ተኝተው የሚያደርጉትን ቆሜ ሳይ፣ ይህን ያህል ለቡሽ የሚጠነቀቅ ሰው የእኔን ጥያቄ ሲሰማ ምን እንዳሰበ… እሱን ነው። ስከፍላቸውም ምንም አላሉኝም። «አላይመንቱን ሳታሳይ እንዳትርቅ» ብቻ አሉኝ፤ አሳየሁ።

ትናንት እናቴን ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ፤ የሟቹ 40 ነበር። ያንን መታጠፊያ፣ ያንን ጉድጓድ አውቄ በዝግታ ገባሁበት። ምንም ድምፅ የለም። መኪናዋ አንዴ ጎንበስ ብላ ቀና አለች።

«ድምፁ ጠፋሳ፣ ምን አደረግህላት?» አለችኝ።

«ሾክ ቀየርኩላት» አልኳት።

ውሸት አይደለም፤ ቀይሬያለሁ። «እሰይ፣ አላህ ይባርክህ» አለችኝና እጄን ነካ አደረገችው። ኮምቦልቻ እስክንደርስ እነግራታለሁ ስል ነበር፤ ስንመለስም እነግራታለሁ ብዬ ነበር። አሁን ደግሞ መንገር ለእሷ ነው ወይስ ለእኔ ብቻ ነው እያልኩ… ቅዳሜ ሐይቅ ውሰደኝ ብላኛለች።