ንጉሡ ሲዘምት ጓዳውን ማን ይጠብቅ? የኬጢያውያን ነገሥታት ነገር

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደፊት ኑ፣ እዚህ ምንጣፉ ላይ መቀመጥ ይቻላል፣ ማንም አይቆጣችሁም።

ልጅ ሆኜ የዳዊትና የቤርሳቤህ ታሪክ ሲነበብ ሁሌ አንድ ቃል ላይ እቀር ነበር፣ "ኬጢያዊው ኦርዮ"። ኦርዮ ያ ምስኪን ወታደር መሆኑን አውቃለሁ፣ ንጉሡ ሚስቱን ወስዶበት እሱን ጦሩ የበረታበት ቦታ አስልፎ እንዳስገደለውም አውቃለሁ፣ ግን ኬጢያዊ ማለት ምንድነው? ስጠይቅ "የድሮ ሰዎች ናቸው" ተባልኩ፣ በቃ። አብርሃም ለሣራ መቃብር በ400 ሰቅል ብር ቦታ የገዛውም ከኬጢያዊው ከኤፍሮን ነው። 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 7 ላይ ደግሞ ሰማርያን የከበቡት ሶርያውያን የሰረገላ ድምፅ የሰሙ መስሏቸው የእስራኤል ንጉሥ የኬጢያውያንንና የግብፅን ነገሥታት ቀጥሮብናል ብለው ፈረሱንም አህያውንም ድንኳኑንም ጥለው እግሬ አውጪኝ ይላሉ። እስቲ አስቡት፣ ከግብፅ ንጉሥ ጎን ስማቸው የሚጠራ፣ ወሬያቸው ብቻ ጦር የሚበትን ሰዎች!

እሺ፣ እነማን ናቸው? አገራቸው የዛሬዋ ቱርክ መሀል ነው፣ ዋና ከተማቸው ሀቱሳ ከአንካራ በስተምሥራቅ ዛሬ ቦአዝካሌ የሚባለው ቦታ ላይ ፍርስራሹ አለ። በፈረንጆቹ 1906 ቁፋሮ ሲጀመር የሸክላ ጽላት በሺህ በሺህ እየተዛቀ ወጣ፣ እስካሁን ከነስብርባሪው ወደ 30,000 ደርሷል። ቋንቋውን በ1915 የፈታው ቼኩ ሊቅ ቤድሪች ህሮዝኒ ነው፣ ያስያዘችውም አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፣ "ዳቦ ትበላላችሁ፣ ውሃ ትጠጣላችሁ" የምትል፣ ውሃን "ዋታር" ይሉታል፣ ከዚያ ነው የነዚህ ሰዎች ቋንቋ የአውሮፓ ቋንቋዎች ዘመድ መሆኑ የታወቀው። ከዚህ በኋላ ስለ ነገሥታቱ ስናገር የምጠራው ዓመት በሙሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው፣ እየደጋገምኩ አላደክማችሁም።

ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። እነዚህ ነገሥታት ውጭ ወጥተው ያልደፈሩት አገር የለም ማለት ይቻላል፣ የሚመቱት ግን ሁሌ ከጓዳ ነው። የሚገርመው ደሞ ይሄን ጉድ የነገረን ጠላታቸው አይደለም፣ ራሳቸው ናቸው ጽፈው ያስቀመጡት።

ከእርግማን እንጀምር። 1750 አካባቢ አኒታ የሚባል የኩሳራ ንጉሥ ሀቱሳን ከቦ አስራባት፣ ሌሊት ገብቶ ያዛት፣ አፈረሳትና መሬቱ ላይ አረም ዘራበት፣ አንዳንድ ተርጓሚዎች ቃሉን ፌጦ ነው ይሉታል፣ አዎ ያቺው ፌጦ። ከኔ በኋላ ነግሦ ይቺን ከተማ የሚያቀና የማዕበሉ አምላክ ይምታው ብሎ ረገመ። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን፣ 1650 ገደማ፣ አንዱ መጥቶ እዛችው እርጉም ከተማ ላይ ቤተመንግሥቱን ሠራ፣ ስሙንም ሀቱሲሊ አለ፣ የሀቱሳ ሰው ማለት ነው። ድፍረት እንዲህ ነው!

ሀቱሲሊ በየዓመቱ ይዘምታል። አንዱን ዓመት ወደ ሶርያ ወርዶ አላላክን አጠፋ፣ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ምዕራብ ወደ አርዛዋ ከብትና በግ ሊነዳ ሄደ፣ እሱ እዚያ ከብት ሲነዳ ሁርያውያን የሚባሉ ጎረቤቶቹ ከኋላ አገሩ ገቡ፣ ያስገበረው ሁሉ ከዳው። የጻፈውን ስሙት፣ ሀቱሳ ብቻዋን ቀረች ይላል። የትኛው ንጉሥ ነው በገዛ ዜና መዋዕሉ እንዲህ ብሎ የሚያጽፍ? ደግነቱ ተነሳ፣ መለሰው፣ ኋላም ኤፍራጥስን ተሻግሮ ሀሁም የምትባል ከተማ አቃጠለና ንጉሧን ሠረገላ ላይ ጠመደው፣ እንደ በሬ። ጉራውንም አልተወም፣ ታላቁ ሳርጎን፣ ከሱ በፊት የነበረው የአካድ ንጉሥ፣ ኤፍራጥስን ተሻግሮ ነበር ግን ሀሁምን አላቃጠለም፣ እኔ አቃጠልኩ ይላል። ሳርጎን የሚለውን ስም ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እንፈልገዋለን።

ይሄ ሰውዬ ታሞ አልጋ ላይ ሆኖ የተናገረው ኑዛዜ አለ፣ እኔ ከነሱ ጽሑፍ ሁሉ የምወደው እሱን ነው። አልጋ ወራሽ ብሎ የሰየመው የእህቱ ልጅ ነበር፣ ታምሜ እንባ አላፈሰሰልኝም፣ ልቡ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ሻረው፣ እናቱን፣ የገዛ እህቱን ማለት ነው፣ እባብ አላት። የወለዳቸው ልጆቹም አምፀውበታል። ስለዚህ ገና ልጅ የነበረውን የልጅ ልጁን ሙርሲሊን አነገሠ። መጨረሻ ላይ ያ ንጉሥ ጠምዶ የሚነዳ ጀግና ሀስታያር የምትባል ሴት ጠርቶ እጠቢኝ፣ ደረትሽ ላይ አስጠጊኝ፣ ከመሬት ጠብቂኝ ይላታል። ሞት ፈርቶ። ጸሐፊው ደሞ ቁጭ ብሎ ይሄን ይጽፋል።

ሙርሲሊ አደገ፣ ሀለብን ሰበረ፣ ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ፣ ኤፍራጥስን ይዞ ቁልቁል ወርዶ ባቢሎን ገባ። ብዙዎቹ 1595 ነው ይላሉ። ከሀቱሳ ባቢሎን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በእግር፣ በበቅሎ፣ ስንቅ ተሸክሞ! የሐሙራቢን ሥርወ መንግሥት እዚያው ዘጋው፣ ግን አልተቀመጠም፣ ዘርፎ ተመለሰ። ቤቱ ሲገባ የእህቱ ባል ሀንቲሊ ገደለው። ባቢሎን ያልቻለችውን አማቹ ቻለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው፣ ደም በደም ነው፣ ሀንቲሊን የረዳው ዚዳንታ የሀንቲሊን ልጅ ገደለ፣ ዚዳንታን የራሱ ልጅ አሙና ገደለው፣ እያለ እያለ ቴሊፒኑ ጋ ይደርሳል። ቴሊፒኑ ሊገድሉት ያሴሩትን ይዞ አልገደለም፣ ይሂዱ ይብሉ ይጠጡ፣ እነሱ ክፉ አደረጉብኝ እኔ ክፉ አላደርግባቸውም ብሎ ለቀቃቸው፣ ቀጥሎም የአልጋ ወራሽ ሕግ አወጣ፣ መጀመሪያ የዋናዋ ሚስት ልጅ፣ ከሌለ ሁለተኛ ደረጃ ያለው ልጅ፣ እሱም ከሌለ የሴት ልጅ ባል። ሕጉ ቆንጆ ነው። ጠበቁት ወይ? ትንሽ ቆዩ።

ከጓዳው ጠላት ሌላ የጓሮ ጠላት አለ፣ ካስካ ይባላሉ። በሰሜን በኩል ጥቁር ባሕር ዳር ተራራ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው፣ ኬጢያውያን አሳማ ጠባቂና ሸማኔ እያሉ ይንቋቸዋል። ችግሩ ካስካዎች አንድ ንጉሥ የላቸውም፣ አንዱን ብታሸንፍ ሌላው አለ፣ ውል ብትፈርም ከማን ጋር ነው የምትፈርመው? ጦሩ ደቡብ ሶርያ በወረደ ቁጥር እነሱ ከተራራው ይወርዳሉ፣ አንዴማ ሀቱሳን ራሷን አቃጥለዋታል። የግብፁ ፈርዖን አሜንሆቴፕ 3ኛ በዚያ ሰሞን ለአርዛዋ ንጉሥ ደብዳቤ ሲጽፍ ሀቲ፣ የኬጢያውያን አገር ማለት ነው፣ አልቆላታል የሚል ነገር አለበት። ተስፋ ቆርጦባቸው ከአርዛዋ ሚስት እየጠየቀ ነበር።

እዚህ ጋ ሱፒሉሊዩማ ይመጣል፣ 1344 አካባቢ። እንዴት ነገሠ? ሕጋዊው ወራሽ ወንድሙ ተገድሎ። የቴሊፒኑ ሕግ የት ደረሰ እንዳትሉኝ፣ ይኸው። እንደ ጦር አዛዥ ግን አቻ የለውም፣ በሰሜን ሶርያ በኩል የነበረውን የሚታኒን መንግሥት ዞሮ ከጀርባ ገብቶ ዋና ከተማዋን ዘረፈ፣ ኋላም ኤፍራጥስ ዳር ያለችውን ከርከሚሽን በ8 ቀን ከበባ ወሰዳትና ልጁን አነገሠባት።

ከርከሚሽን ከቦ ባለበት ነው እንግዲህ ያ ደብዳቤ የመጣለት። ከግብፅ ንግሥት፣ ባሏ የሞተባት፣ አብዛኛው ሰው የቱታንካሙን ሚስት ናት ይላል። ባሌ ሞተ፣ ወንድ ልጅ የለኝም፣ አንተ ብዙ ልጆች አሉህ አሉ፣ አንዱን ብትልክልኝ ባሌ ይሆናል፣ የራሴን አገልጋይ አላገባም፣ እፈራለሁ። ንጉሡ ደነገጠ፣ በዘመኔ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም አለ፣ ወጥመድ ነው ብሎ እውነቱን የሚያጣራ ሰው ላከ። ንግሥቲቱ ተናዳ መለሰች፣ ልጅ ቢኖረኝ የራሴንና የአገሬን ሀፍረት ለባዕድ እጽፍ ነበር ወይ? በመጨረሻ ዛናንዛ የሚባለውን ልጁን ላከ። ዛናንዛ ሞተ። ግብፆች እጃችን የለበትም አሉ፣ አባትየው ማንንም አላመነም፣ ሠራዊት ልኮ የግብፅን ግዛት ወረረ፣ ምርኮኛ አግበስብሶ ተመለሰ።

ምርኮኞቹ ግን ቸነፈር ይዘው ገቡ። 20 ዓመት! ንጉሡ ራሱ ሞተ፣ በቦታው የነገሠው ልጁም ወዲያው ተከተለው። አልጋው ለትንሹ ልጅ ለሙርሲሊ 2ኛ ደረሰ፣ ጎረቤት ነገሥታት ይሄማ ሕፃን ነው ብለው ሳቁበት፣ ሕፃኑ አርዛዋን ሰብሮ በአንድ ዘመቻ ለቤተመንግሥቱ ብቻ 66,000 ሰው ማርኮ እንዳስገባ ጻፈ። ቸነፈሩን ግን ማን ይማርከው? ለአማልክቱ የጻፈው ጸሎት አለ፣ ሰውዬው በጸሎት ብቻ አልቆመም፣ መዝገብ ቤት ገብቶ የድሮ ጽላት አገላበጠ፣ አባቱ ከግብፅ ጋር የተማለ ውል አፍርሶ እንደዘመተ አገኘ፣ ወንድሙን ማስገደሉንም አመነ። እውነት ነው ኃጢአት ሠርተናል፣ የአባት ኃጢአት ወደ ልጅ ይመጣል፣ እኔ ጋ መጥቷል አለ። ከዚያ ደሞ ይከራከራቸዋል፣ ወፍ እንኳን ቁጥቋጦ ውስጥ ብትሸሸግ ቁጥቋጦው ያድናታል፣ ዳቦአችሁን የሚጋግሩት ሁሉ እያለቁ ነው፣ ነገ መሥዋዕቱን ማን ያቀርብላችኋል? እያለ። እኔ ይሄን ሳነብ ዘመቻው ሁሉ ይጠፋኛል፣ ከአማልክት ጋር ሒሳብ የሚተሳሰብ የተጨነቀ ልጅ ብቻ ነው የሚታየኝ።

ቃዴሽን፣ ከግብፅ ጋር የተዋጉባትን የሶርያ ከተማ፣ የጠበቃችሁ አላችሁ አይደል፣ እሺ። 1274፣ ሙዋታሊ የሙርሲሊ ልጅ ባንድ በኩል፣ ራምሴስ 2ኛ በሌላ። ራምሴስ 4 ክፍለ ጦር ይዞ ይመጣል፣ መንገድ ላይ ሁለት ዘላኖች አግኝቶ ኬጢያውያን የት ናቸው ሲል ሩቅ ናቸው፣ ሀለብ አካባቢ፣ ፈርተውሃል አሉት፣ አመነ፣ ከአንዱ ክፍለ ጦር ጋር ቀድሞ ሄዶ ሰፈረ። ሙዋታሊ ከቃዴሽ ጀርባ ተደብቆ ነበር። በግብፆቹ ቁጥር 2,500 ሠረገላ፣ በያንዳንዱ ላይ 3 ሰው፣ መንገድ ላይ ያለውን ሁለተኛ ክፍለ ጦር ሰንጥቆ አለፈ፣ ሰፈሩ ውስጥ ገባ። እዚህ ጋ ኬጢያውያን ያው ዘረፋ ጀመሩ፣ ራምሴስ ተፍጨረጨረ፣ ከባሕር ዳር በኩል ሌላ የግብፅ ጦር ደረሰለትና ተረፈ። አገሩ ገብቶ ብቻዬን አሸነፍኳቸው ብሎ ከካርናክ እስከ አቡ ሲምበል ግድግዳ ሞላው፣ የሀለብን ገዥ ከወንዝ አውጥተው ዘቅዝቀው ውሃ ሲያስተፉት ሁሉ አስቀርጿል። ፕሮፓጋንዳ ድሮም ነበር። ቃዴሽ ግን በማን እጅ ቀረች? በኬጢያውያን። ሙዋታሊ አልፎ ደማስቆ አካባቢ ድረስ ወረደ።

ሙዋታሊ ሲሞት ልጁ ነገሠ፣ አጎቱ ሀቱሲሊ 3ኛ አወረደው፣ ደግሞ እንደገና! የወረደው ልጅ ራምሴስ ጋ ግብፅ ገባ። እንግዲህ ሀቱሲሊ አልጋው የተሰረቀ ነው፣ በምሥራቅ አሦር እየገሰገሰበት ነው፣ ሰላም ያስፈልገዋል፣ 1259 ላይ ከራምሴስ ጋር በብር ጽላት ላይ ውል አደረጉ፣ የንግሥት ፑዱሄፓ ማኅተም ከባሏ ማኅተም ጋር አለበት። አንዳችን ብንወረር ሌላው ይድረስ፣ ኮብላይ ይመለስ፣ የተመለሰው ግን አይገደል፣ ዓይኑ ጆሮው አይነካ፣ ቤቱ አይጥፋ ይላል። ሁለቱም ወገን ያስቀሩት ግልባጭ ተገኝቷል፣ የሀቱሳው ኮፒ ኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ሕንፃ ውስጥ ተሰቅሏል፣ ቱርክ በፈረንጆቹ 1970 የሰጠችው። ሰዉ የዓለም ሰላም ምልክት ነው እያለ ፎቶ ይነሳል፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ አጎት የወንድሙን ልጅ ስለፈራ የተጻፈ ወረቀት ነው።

አወዳደቁ ብዙ አይነገርም። ከብሩ ውል ብዙም ሳይቆይ ረሃብ ገባ፣ ፈርዖን መርኔፕታህ ሀቲን በሕይወት ለማቆየት እህል በመርከብ ላኩ ብሎ ጽፏል፣ በዛፍ ግንድ ቀለበት የተጠና ጥናትም 1198 እስከ 1196 ከባድ ድርቅ እንደነበር አሳይቷል። የመጨረሻው ንጉሥ ሱፒሉሊዩማ 2ኛ፣ ደጋ ላይ የተወለዱ ሰዎች ንጉሥ፣ ቆጵሮስ ፊት ለፊት ባሕር ላይ ተዋግቶ አሸንፌያለሁ ይላል። ከዚያ ጽላቱ ዝም ይላል። ቆፋሪዎቹ ሀቱሳ ውስጥ ያገኙት የተቃጠለ ግን ባዶ የሆነ ቤተመንግሥት ነው፣ ዕቃው አስቀድሞ ወጥቷል፣ ነዋሪው ጥሎ ከሄደ በኋላ ነው የነደደው።

ሶርያውያኑን ያስፈረጠጡት እነማን ናቸው ታዲያ፣ ሀቱሳ ከወደቀች ከ300 ዓመት በላይ ሆኗት የለ? ሱፒሉሊዩማ በ8 ቀን የወሰዳት ከርከሚሽ ትዝ አለቻችሁ? እዚያ ያነገሠው ልጁ ዘር ዋናው ቤት ከፈረሰ በኋላም አልጋው ላይ ቀጠለ፣ በሰሜን ሶርያ እንደሷ ያሉ ትናንሽ የኬጢያውያን መንግሥታት ብዙ ነበሩ። ከርከሚሽ እስከ 717 ቆየች። በ717 የያዛት የአሦር ንጉሥ ስሙ ሳርጎን ነው፣ ሳርጎን 2ኛ፣ ከዚያ ከሀቱሲሊው ሳርጎን ስሙን የወረሰ።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፣ ማይኩ ከዚህ ወንድማችን ጋ ነው።